የባጃጄ ፍሬን በስንት መከራ ያዘ

ፍሬኑ ሁለት ሦስቴ ካልረገጥኩት አልይዝ ሲለኝ ሰፈራችን ያለ ትንሽ ጋራዥ ወሰድኩት። ሌላ ቦታ የፍሬን ዘይት ሞልተው ሸኝተውኝ ነበር፤ በሳምንቱ ያው። ይሄኛው ልጅ የዘይት ማጠራቀሚያውን ክዳን ከፍቶ አሳየኝ፣ ዘይቱ ጠቁሮ ቡና መስሏል። እርጥበት ስለሚስብ ሲግል ቶሎ ይፈላል አለኝ። ከዚያ እኔ እረግጣለሁ፣ እሱ ጎማው ጋ ቁጢጥ ብሎ "ያዘው!" ይልና የአየር ማስወጫዋን ብሎን ላላ ያደርጋል፣ ውስጡ የገባው አየር በቀጭኗ ቱቦ አረፋ ሆኖ እየተንደቀደቀ ይወጣል፣ ያጠብቃትና "ልቀቅ!"፤ በሦስቱም ጎማ ንጹህ ዘይት እስኪመጣ እንዲሁ ስንል አንድ ሰዓት ሄደ። የአዲሱንም ዘይት የዶት ቁጥር (የፍሬን ዘይቱን ደረጃ) አሳይቶኝ፣ እሽጉን ፊቴ ነው የከፈተው። ቅር ያለኝ፣ ጠብ ያለውን ቶሎ በውሃ ስላላጠበው ቀለሜን ላጠብኝ። ፍሬኑ ግን አሁን ገና ስነካው ቀጥ!