የጂቲአይ ካቴናዬን ያስቀየርኩበት ጋራዥ

አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ያለ የሐበሻ ጋራዥ ነው። ስሙን አልጽፍም፤ ወረፋው አሁንም ከበቂ በላይ ነው። የሚያውቁት ያውቁታል።

መኪናዬ የ2012 ጎልፍ ጂቲአይ ናት። ሁለት ሊትር ቱርቦ፣ 200 የፈረስ ጉልበት፣ ማንዋል። (ማንዋል ምን ያደርግልሻል ለምትለኝ አክስቴ መልስ መስጠት ትቻለሁ።) የገዛኋት ያገለገለች ሆና ነው። ጠዋት ስትነሳ ለአንድ ሁለት ሰከንድ የብረት ኳኳታ ታሰማና ጸጥ ትላለች። መጀመሪያ የሄድኩበት ሌላ ጋራዥ "ብርድ ነው" ብሎ ዘይት ቀይሮ ሸኘኝ።

እዚህ ግን ባለቤቱ፣ ጋሼ ነው የምላቸው፣ መኪናዋን ለማስነሳት እንኳን አልሞከሩም። "ስሚ የኔ ልጅ፣ ቁልፉን ስጪኝና እዚህ ትደር" አሉኝ። ነገሩ ወዲያው አልገባኝም ነበር። ሞተሩ ውስጥ ካምሻፍቱን (ቫልቮቹን የሚከፍተውን ዘንግ) ከክራንኩ (ፒስተኖቹ ከሚያዞሩት ዘንግ) ጋር የሚያገናኝ የብረት ካቴና አለ። እሱን ወጥሮ የሚይዘው ቴንሽነር የሚሠራው በዘይት ግፊት ነው። መኪና ስታድር ግፊቱ ይወርዳል። ካቴናው የላላ ከሆነ፣ ጠዋት ዘይቱ እስኪደርስለት ድረስ እየተወዛወዘ ዙሪያውን ይመታል። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ቀኑን ሙሉ ጆሯችሁን ብትደቅኑ ምንም አትሰሙም። ስለዚህ ያዳመጧት በማግስቱ፣ ቀዝቃዛ እንዳለች ነው።

ከዚያ ኮምፒውተር ሰኩ። ካቴናው ሲረዝም ካምሻፍቱ ከክራንኩ ጋር ያለው አቀማመጥ ይዛባል፤ መዛባቱን በዲግሪ ማንበብ ይቻላል። የኔ ቁጥር የሚያስደስት አልነበረም። ጋሼ ግን በስክሪን ብቻ የሚያምኑ ሰው አይደሉም። ከሞተሩ ሽፋን ታች ላይ ትንሽ የጎማ ውታፍ አለች። እሷን ነቀሏትና በባትሪ እያበሩ "ነይ እይው" አሉኝ። የቴንሽነሩ ፒስተን ላይ የተደረደሩ ጥርሶች አሉ። ካቴናው በላላ ቁጥር ፒስተኗ እየወጣች ጥርሶቹ አንድ በአንድ ይታያሉ። የኔዋ ብዙ ወጥታለች።

በዚያችው ቀዳዳ ቴንሽነሩ የድሮው ይሁን የተሻሻለው ይለያል። የድሮው ዓይነት ይበላሻል ተብሎ እዚህ አሜሪካ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2018 በስምምነት ያለቀ ጉዳይ ነው፤ ያገለገለ ጂቲአይ የምትገዙ ሰዎች ሳትፈሩ ያንን ውታፍ አስከፍቱ። የኔዋ የተሻሻለው አለባት። ያለቀው ራሱ ካቴናው ነው።

"ትንሽ ልንዳትና ልይ?" አልኩ። ጋሼ ሳቁ። ይሄ ሞተር ካቴናው ጥርስ ከዘለለ ቫልቮቹ ከፒስተን ጋር ይጋጫሉ። ያኔ ካቴና መቀየሩ ቀርቶ ሞተር ማውረድ ይመጣል። ሳይቃጠል በቅጠል ብዬ እሺ አልኩ።

ጠቅላላ ሒሳቡ 1,700 ዶላር መጣ። ዲለር የጠራልኝ ዋጋ ከዚህ በጣም ይበልጥ ነበር። ካቴናው፣ ቴንሽነሩ፣ ካቴናው የሚንሸራተትባቸው መሪዎች፣ የባላንስ ሻፍቱ (የሞተሩን ንዝረት የሚቀንሰው ዘንግ) ካቴና ሁሉ አዲስ ነው። የመጨረሻውን ለመቆጠብ ስል "ይቅር" ብል አይሆንም አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ያ ሁሉ ሽፋን ተከፍቶ እሱን መተው ለዚያው ሥራ ሁለቴ መክፈል ነው። የክራንኩ ብሎንም አንዴ ከተፈታ ተመልሶ አይታሰርም፣ አዲስ ነው የሚገባው። ካምሻፍቶቹን ቀጥ አድርጎ የሚይዘው መሣሪያም አላቸው። ሌላ ቦታ ከወሰዳችሁ ይሄን መሣሪያ አሳዩኝ በሉ። የለንም፣ በዘዴ እንሠራዋለን ካሉ ቁልፋችሁን ተቀበሉ።

በጣም የወደድኩት አሮጌውን ዕቃ ማሳየታቸውን ነው። ሁለቱን ካቴናዎች ጠረጴዛ ላይ አንድ ጫፍ ላይ ገጥመው ዘረጓቸው። አሮጌው በትንሹ አልፎ ሄደ። ብረቱ ተለጥጦ አይደለም። እያንዳንዷ ፒን ቀዳዳዋ ውስጥ በጥቂቱ ትበላለች፤ ያ በካቴናው ርዝመት ሁሉ ሲደመር ነው ልዩነቱ የሚመጣው። ቀጥለው በጎናቸው አነሷቸው። አዲሱ ቀጥ አለ፣ አሮጌው እንደ ድሮ ብስክሌት ካቴና ጎበጠ። "ይሄ የዘይት ሥራ ነው" አሉ። የበፊቱ ባለቤት ዘይት የሚቀይረው ሲያስታውስ ብቻ ነበር መሰለኝ። የአምራቹ መመሪያ 10,000 ማይል ይላል። ጋሼ 5,000 ላይ ቀይሪ፣ ቱርቦ ዘይት ይጠብሳል ነው ያሉኝ። እኔም እንዲያ እያደረግኩ ነው። ኳኳታው ጠፍቷል፣ የኮምፒውተሩም ቁጥር ተስተካክሏል።

አሁን ወቀሳ። ስልክ አያነሱም። ደውላችሁ ከምትናደዱ በአካል ሂዱ። "ከነገ ወዲያ ትደርሳለች" ያሉኝ መኪና ሳምንት ሊሞላት ነበር። ዕቃ ዘግይቶ ነው አሉ፤ ይሆናል፣ ግን አንድ ቴክስት ማንን ገደለ? ደረሰኙ ላይም "ካቴና ሙሉ" ብቻ ብለው ጽፈው ሰጡኝ። መኪናዋን አንድ ቀን ስሸጥ ገዢው ምን እንደተቀየረ በዝርዝር ማየት ይፈልጋል። ስጠይቅ ያለ ማጉረምረም በዕቃ ቁጥር ጽፈው ሰጡኝ፣ እናንተም ጠይቁ።

ቅዳሜ ከሰዓት ታክሲ የሚሠሩ ልጆች ይሞሉታል፤ ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ጠዋት ይሻላል። በካርድ ስትከፍሉ ትንሽ ይጨምራሉ፣ ዜል (በስልክ ከባንክ ወደ ባንክ መላኪያ) ግን ይቀበላሉ።