ደብረ ማርቆስ ላይ እንግሊዝኛ ለቸገራችሁ የካምፓስ ልጆች፦ ቲቸርን ልጠቁማችሁ

ይህን የምጽፈው ለማመስገን ነው፣ በዚያው ለመጠቆምም። ደብረ ማርቆስ ውስጥ፣ ቤታቸው ግቢ እንግሊዝኛ የሚያስጠኑ ጡረታ የወጡ መምህርት አሉ። ስማቸውን እንዳልጠቅስ አደራ ብለውኛል። «ስሜን ፌስቡክ ላይ ካወጣኸው ሰልፉ አስፋልት ይደርሳል» አሉኝ። ሲቀልዱ ይሁን ከልባቸው እንጃ። እኛ ቲቸር ነው የምንላቸው።

መጀመሪያ ለማን እንደሚሆኑ ልናገር። ከኤቢሲዲ ለሚጀምር ሰው አይሆኑም። እንደ እኔ መሀል ላይ ለቆመ ሰው ናቸው። ማለትም ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱን በእንግሊዝኛ ተምሮ፣ ፍሬሽማን ላይ ኮሙኒኬቲቭ ኢንግሊሽ ወስዶ ያለፈ፣ ሀንድአውት ሲያነብ የሚገባው፣ ግን «ፕሬዘንቴሽን አለ» ሲባል ሆዱ የሚላወስ ልጅ። እንዲህ ዓይነቱ ካምፓስ ውስጥ ሞልቷል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጣው የመውጫ ፈተና እንኳ መልስ መምረጥ ነው፣ አፍ አያስከፍትም። ጉድ የሚፈላው የመመረቂያ ጽሑፍ ዲፌንስ ላይ ነው።

ከሳቸው በፊት አንድ ማሠልጠኛ ከፍዬ ገብቼ ነበር፣ ስሙ ይቅር። ፕሬዘንት ሲምፕል፣ ፓስት ሲምፕል፣ ከዚያ ተመልሶ ፕሬዘንት ሲምፕል። አስተማሪው ከሰሌዳው ጋር ያወራል፣ እኛ እንገለብጣለን፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ሳንናገር ሰዓቱ ያልቃል። መሀል ላይ የቆመ ተማሪ ግራመሩንማ በቃሉ ይወጣዋል። ያቃተው የሚያውቀውን በጊዜው ከአፉ ማውጣት ነው። ቲቸር የሚሠሩት እዚያ ላይ ነው።

እኔ ያደግኩት ቢቸና አካባቢ ነው፣ የጤፍ አገር። ቲቸር ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝና «እንግዲያውስ ጤፍ እንዴት እንደሚዘራ በእንግሊዝኛ አስረዳ፣ 4 ደቂቃ አለህ» ብለው ከአንዲት የነርሲንግ ተማሪ ፊት አስቀመጡኝ። መሬቱ መጀመሪያ እንደሚገመስ፣ ደጋግሞ እንደሚታረስ፣ ሐምሌ ላይ እንደሚዘራ እየተንተባተብኩ ተናገርኩ። ከመዘራቱ በፊት በከብት መረገጡ ላይ ስደርስ ቃል ጠፋኝ። ስለዚህ «ከብቶቹ ይሄዳሉ፣ ይሄዳሉ፣ መሬቱ ጠፍጣፋ እስኪሆን» አልኩ። ልጅቷ ሳቀች፣ ግን ገባት። ቲቸር ምንም አላሉም። ስጨርስ ብጣሽ ወረቀት ላይ «ትራምፕል» የምትል ቃል ጽፈው ሰጡኝና ያንኑ ወሬ ለሌላ ልጅ በ3 ደቂቃ ንገር አሉኝ። ከዚያ ለሌላ ልጅ በ2። ወሬው አንድ ነው፣ ሰሚው ይቀያየራል፣ ሰዓቱ ያጥራል። በመጨረሻው ላይ የጤፍ ፍሬ ደቃቅ ስለሆነች መሬቱ ካልጠጠረ ጠልቃ እንደምትቀር ሁሉ ጨምሬ ተናግሬ ጊዜ ተረፈኝ። ዘዴው የሳቸው ፈጠራ አይደለም። ከፈረንጆቹ 1980ዎቹ ጀምሮ የቋንቋ መምህራን 4/3/2 እያሉ ይጠቀሙበታል። እዚህ ግን ሲሠራበት ያየሁት እሳቸው ጋ ብቻ ነው። በኋላ ዲፓርትመንታችን ውስጥ ስለ ጤፍ ገበያ ፕሬዘንት ሳደርግ ወረቀት አላነበብኩም።

ሌላው የምወድላቸው ነገር እርማታቸው ነው። እያወራህ አያቋርጡህም። ጸጥ ብለው ይጽፋሉ፣ ስትጨርስ ያችን ብጣሽ ወረቀት ይሰጡሃል። ወረቀቷ ላይ ደግሞ ስሕተትህን ሁሉ አታገኝም፣ የምትደጋግመውን አንዱን ብቻ ነው። ከአማርኛ ተሸክመን የምናመጣቸውን ደግሞ አሳምረው ያውቋቸዋል። አንዱ ጓደኛችን ዲኑ ነገ እመጣለሁ ማለቱን ሊነግረን ፈልጎ «ዘ ዲን ሴድ አይ ዊል ካም ቱሞሮው» አለ። ቲቸር ቀበል አድርገው «አንተ ደግሞ ምን ልትሠራ ነው የምትመጣው?» አሉት። ቤቱ በሳቅ ሞተ። እኛ የሰውየውን ንግግር እንዳለ አስቀምጠን «አለ» እንልበታለን፣ እንግሊዝኛው ግን «አይ» ካልክ አንተው ነህ፣ ዲኑ «ሂ» መሆን አለበት። «ዲስከስ አባውት»ም እንዲሁ ነው። ስለ አንድ ነገር ተወያየን ስለምንል «አባውት» ትገባለች፣ እነሱ ዘንድ «ዲስከስ» ብቻውን ይበቃል። ከዚያን ቀን በኋላ እኛ መሀል «ዲኑ መጣ» ማለት ቀልድ ሆኗል።

ቃላት ላይ ዲክሽነሪ ከዳር እስከ ዳር በሉ አይሉም። ኮፒ አድርገው የሚያድሉት አካዳሚክ ዎርድ ሊስት የሚባለውን ዝርዝር ነው። አቬሪል ኮክስሄድ የተባለች የኒውዚላንድ ተመራማሪ በ2000 እ.ኤ.አ. ያወጣችው ሲሆን፣ 570 የቃል ቤተሰቦች (አንድ ቃል ከነእርባታዎቹ እንደ አንድ ተቆጥሮ) አሉት፣ በ10 ክፍል የተደረደሩ፣ ብዙ የሚደጋገሙት ከፊት። አናላይዝ፣ ሲግኒፊካንት፣ ኢቫሉዌት የሚሉት ዓይነት ናቸው። ለካምፓስ ልጅ የሚጠቅመው ቃላቱ ኢኮኖሚክስም ሆነ ነርሲንግ ሀንድአውት ውስጥ ስለሚመላለሱ ነው። ቃሉን ብቻ ይዘህ ከመጣህ ግን አይቀበሉህም፣ ከራስህ ሀንድአውት ያገኘኸውን ዓረፍተ ነገር አብረህ ማምጣት አለብህ።

ማዳመጥ ላይ የሚምሉት በቪኦኤ ስፔሻል ኢንግሊሽ ነው። በ1959 እ.ኤ.አ. የተጀመረ፣ 1,500 ያህል ቃላት ብቻ ይዞ ረጋ ብሎ የሚነበብ ፕሮግራም ነበር። እሳቸውም በልጅነታቸው በሬዲዮ ነው የተከታተሉት። ቆየት ያሉ ቅጂዎች በፍላሽ አሏቸው፣ ስለዚህ ኔትወርክ ቢጠፋም ትምህርት አይቋረጥም። አንድ ዓረፍተ ነገር ያሰሙሃል፣ ትጽፋለህ፣ ከዋናው ጋር ታመሳክራለህ። የሚቀሩህ ትልልቆቹ ቃላት አይደሉም፣ «ዘ»፣ «ኦፍ»፣ «ሃድ» እና ጫፍ ላይ ያለችው ኤስ ናቸው። እንግሊዝኛ አንዱን ክፍለ ቃል ጫን ብሎ ሌላውን ይውጠዋል። «ፎቶግራፍ» ሲል የመጀመሪያው ላይ ይጫናል፣ «ፎቶግራፈር» ሲል ግን ወደ ሁለተኛው ይዘላል። እኛ ሁሉንም እኩል እየጠራን ስላደግን የተዋጠው ያመልጠናል። እውነቱን ለመናገር ይህ ክፍል አሰልቺ ነው። ሆኖም ከሁሉ በላይ የጠቀመኝ ይኸው ነው።

የማይመቹ ነገሮችም አሉ። ሰርተፍኬት አይሰጡም። አይኤልትስ ለሚባለው ዓለም አቀፍ የእንግሊዝኛ ፈተና ሳምንት ሲቀረው የሚሮጥ ሰው ደጃቸው ባይደርስ ይሻላል፣ ይቆጣሉ። ስልክ በር ላይ ይቀመጣል። ክፍያው ተመጣጣኝ ነው፣ የከበደውን ልጅ ደግሞ ለብቻው አነጋግረው ይቀንሱለታል።

ፈቃዳቸውን ጠይቄያለሁ፣ በውስጥ መስመር ለምትጠይቁኝ ስልካቸውን እሰጣለሁ። ቤታቸው ከንጉሥ ተክለ ሃይማኖት አደባባይ በእግር ይደረሳል። የሚያስተምሩት ቅዳሜና እሑድ ነው፣ እሑድ ከቅዳሴ መልስ። ቦታው ጠባብ ስለሆነ ቀድማችሁ ደውሉ። ስትሄዱ ከዲፓርትመንታችሁ አንድ ሀንድአውት ያዙ፣ ባዶ እጁን የመጣ ሰው ዝም ብሎ ተቀምጦ ነው የሚውለው። ቲቸር፣ ይህን ልጅዎ ካነበበልዎ፣ እግዜር ይስጥልኝ። «ኢቫሉዌት»ን ገና አልጨረስኩም፣ ቅዳሜ አመጣለሁ።