የባሕር ዳሩ አዲሱ የዓባይ ድልድይ በተሻጋሪ ሰው ዓይን

በግንቦት 2016 ዓ.ም. ለአገልግሎት የተከፈተው የባሕር ዳሩ አዲሱ የዓባይ ድልድይ ብዙ ጊዜ የሚነገርለት በመጠኑ ነው፤ 380 ሜትር ይረዝማል፣ 43 ሜትር ይሰፋል፣ ከ1.4 ቢሊዮን ብር በላይም ወጥቶበታል። እነዚህ ቁጥሮች የግንባታውን ልክ ያሳያሉ እንጂ ለተሻጋሪው የሚሰጠውን አገልግሎት አይናገሩም። መኖሪያዬ ዓባይ ማዶ፣ ሥራዬ ደግሞ መሀል ከተማ በመሆኑ ድልድዩን በእግርም፣ በብስክሌትም፣ በባጃጅም እሻገረዋለሁ። ስለዚህ እንደ ምሕንድስና ሥራ ሳይሆን ነዋሪ በየቀኑ እንደሚገለገልበት የሕዝብ ንብረት ልመዝነው እፈልጋለሁ። ፍርዴን አስቀድሜ ለመናገር፣ ድልድዩ እንደ መሻገሪያ እጅግ የተሳካ ነው፤ ነገር ግን ከተማዋን ወደ ምሥራቅ እየሳበ ያለው እርሱ ራሱ ስለሆነ፣ ማዶው በዕቅድና በመሠረተ ልማት ካልደረሰለት ጥቅሙ ከዓመት ወደ ዓመት እየቀነሰ መሄዱ አይቀርም።

አዲሱን በትክክል ለመመዘን አሮጌውን ማስታወስ ያስፈልጋል። አሮጌው ድልድይ ከ60 ዓመት በላይ አገልግሏል። በተሠራበት ዘመን ባሕር ዳር ገና ትንሽ ከተማ ነበረች፤ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው፣ የፖሊ ቴክኒክ ተቋሙና የጢስ ዓባይ የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫ በተከታታይ የተቋቋሙትም በ1950ዎቹ ነው። ያ ድልድይ ለዚያች ከተማ በቂ ነበር። በኋላ ግን ከጎንደርና ከመተማ የሚመጣው የጭነት መኪና፣ በወረታ በኩል ከደብረ ታቦርና ከወልድያ የሚመጣው አውቶቡስ፣ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የዘንዘልማ ግቢ ተማሪ፣ እህሉን በአህያ ጭኖ ወደ ገበያ የሚሻገረው ገበሬ ሁሉም በአንዲት ጠባብ መንገድ ላይ ይገናኙ ጀመር። አንድ የጭነት መኪና መሀል ላይ ቢበላሽ ከኋላው የሚቆመው ተሽከርካሪ ብቻ አልነበረም፤ ወደ ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ሕመምተኛ የያዘ ሰውም አብሮ ይጠብቅ ነበር። ይህን ለዓመታት ያየ ሰው በአዲሱ ድልድይ ላይ የሚሰማው እፎይታ የተጋነነ አይደለም።

አዲሱ ድልድይ በአጫጭር ምሰሶዎች ላይ በተወጠሩ የብረት ገመዶች የታገዘ ሲሆን፣ በየአቅጣጫው ሦስት ሦስት የመኪና መስመር፣ ከዚያም የብስክሌትና የእግረኛ መሄጃ አለው። ከሁሉ በላይ የማደንቀው ይህን የመጨረሻውን ነው። ለጎጃም ሰው የዓባይ ድልድይ አዲስ ነገር አይደለም። ወንዙ ከጣና ወጥቶ አገሩን ከምሥራቅ ወደ ደቡብ እየዞረ ስለከበበው፣ ከጎጃም መውጣትም ወደ ጎጃም መግባትም ከጥንት ጀምሮ የመሻገሪያ ጉዳይ ሆኖ ኖሯል። በጢስ ዓባይ አጠገብ ያለው የአላታ ድልድይ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ ነው፤ በደጀንና በጎሐ ጽዮን መካከል ያለው የሕዳሴ ድልድይም 303 ሜትር ይረዝማል። ሆኖም እነዚያ ሁሉ አገርን ከአገር የሚያገናኙ፣ መንገደኛ አንድ ጊዜ አልፎባቸው የሚሄድ ድልድዮች ናቸው። የባሕር ዳሩ ግን በከተማ ውስጥ ያለ፣ ተማሪ ደብተሩን ይዞ፣ እናት ልጇን አዝላ፣ የቀን ሠራተኛ አካፋውን ተሸክሞ በየቀኑ የሚመላለስበት መንገድ ነው። ስለዚህ እግረኛውን ማክበሩ የተጨመረ ጌጥ ሳይሆን የመጀመሪያ ግዴታው ነበር፤ ይህንንም አሟልቷል። ወደ ሐይቁ በሚያየው ወገን ሲራመዱ ዓባይ ከጣና ተለይቶ ሲመጣ ይታያል፣ ከታች ዳርቻው ላይ አንዳንድ ጊዜ ጉማሬ ብቅ ይላል፣ ከመኪናውም የሚለይ በቂ ርቀት ስላለ ሕፃን ይዞ መሄድ አያስፈራም።

ጉድለቱ ጥላ ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ብትሆንም የመጋቢትና የሚያዝያ ፀሐይዋ ብርቱ ነው፣ ድልድዩ ላይ ደግሞ ከምሰሶዎቹና ከገመዶቹ በቀር ፀሐይን የሚከልል ነገር የለም። ለወጣት ይህ ቀላል ነው፤ ለአዛውንትና ለነፍሰ ጡር ግን ከግማሽ ኪሎ ሜትር የማይርቀውን ይህን መንገድ በእኩለ ቀን መሻገር አድካሚ ነው። በሁለቱም ጫፎች ላይ ዛፍ ቢተከልና መቀመጫ ቢዘጋጅ ዋጋው ከድልድዩ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው፤ ከተማዋም በጎዳና ዘንባባዎቿና በሐይቅ ዳር ሾላዎቿ የምትታወቅ እንደመሆኗ ይህ ከልማዷ የሚወጣ አይደለም።

ባሕር ዳር ሜዳማ በመሆኗ ብስክሌት ከልጅ እስከ አዋቂ የሚነዳባት ከተማ ናት። የብስክሌት መስመሩ ለብቻው መለየቱም ለዚች ከተማ ከሚገባው በላይ የተሰጠ ነገር አይደለም። አጠቃቀሙ ግን ገና አልተስተካከለም። ፎቶግራፍ የሚነሳው ሰው በመስመሩ ላይ ይቆማል፣ ሞተር ሳይክልም አልፎ አልፎ ይገባበታል፤ በተለይ በበዓል ቀናት ብስክሌተኛው ወርዶ መግፋት ይኖርበታል። ይህ በምልክትና በጥቂት ተቆጣጣሪዎች የሚፈታ ነው። ከዚህ ይልቅ የሚከብደው ድልድዩ ካለቀ በኋላ ያለው ነው። ድልድዩን በሰፊውና በተለየ መስመር የተሻገረ ብስክሌተኛ ወደ መንደሩ ሲታጠፍ የሚጠብቀው ኮብልስቶን ወይም ጠጠር መንገድ ነው፣ በክረምትም ጭቃ ነው። «ዓባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል» እንደሚባለው፣ የአሮጌውን ድልድይ ጥበት ብቻ እያሰብን በአዲሱ ከረካን ከድልድዩ ማግኘት የሚገባንን ሁሉ ሳንጠይቅ እንቀራለን።

ለዚህ ነው የድልድዩ ግምገማ ወደ ሕዝብ ቁጥር የሚወስደን። በ1976 ዓ.ም. ቆጠራ የባሕር ዳር ነዋሪ 55 ሺህ ገደማ ነበር፤ በ1987 ዓ.ም. 96,140፣ በ1999 ዓ.ም. ደግሞ 155,428 ሆነ። በመጨረሻዎቹ ሁለት ቆጠራዎች መካከል ያለው ዕድገት ሲሰላ በዓመት ከመቶ ወደ 3.8 ይጠጋል፤ በዚህ ፍጥነት የሚያድግ ከተማ በ18 ዓመት ገደማ ውስጥ እጥፍ ይሆናል። ሕገ መንግሥቱ በየ10 ዓመቱ እንዲካሄድ የሚያዝዘው ቆጠራ ከ1999 ዓ.ም. ወዲህ ባለመካሄዱ፣ የፍጥነቱ መጠን ሳይለወጥ ቆይቷል ብለን ብናሰላ እንኳ በ2017 ዓ.ም. ከ300 ሺህ የሚያልፍ ሕዝብ እናገኛለን። በዚህ ላይ የዩኒቨርሲቲው መስፋፋት፣ ሥራ ፍለጋ ከየወረዳው የሚመጣው ወጣትና በክልሉ ባለው ግጭት ምክንያት ከገጠር ወደ ከተማ የተጠጋው ቤተሰብ ሲጨመር፣ ዓባይ ማዶ በዓይናችን ፊት የሚታየው የቤት መብዛት ምክንያቱ ግልጽ ይሆናል። ሳይቆጠር የቆየ ሕዝብ የሚያስፈልገውን ውኃ፣ ትምህርት ቤትና አውቶቡስ በግምት ብቻ ማቀድ ከባድ ነው፤ በእኔ አስተያየት ከድልድዩ ቀጥሎ ለከተማዋ የሚያስፈልገው ትልቁ ሥራ በየክፍለ ከተማው አስተማማኝ የነዋሪ ምዝገባ ማካሄድ ነው።

ከተማዋ የምታድግበት አቅጣጫም ብዙ ምርጫ የለውም። በሰሜን ጣና አለ፣ በምዕራብ በኩል አውሮፕላን ማረፊያው ሰፊ ቦታ ይዟል፤ የቀረው ወደ ደቡብ በመሸንቲና በጢስ ዓባይ አቅጣጫ፣ ወይም ዓባይን ተሻግሮ ወደ ምሥራቅ ወደ ዘንዘልማ መስፋፋት ነው። አሮጌው ድልድይ በጥበቱ ምክንያት ይህን የምሥራቅ ዕድገት ሲገታው ኖሯል፤ አዲሱ ግን በሩን ወለል አድርጎ ከፍቶታል። ቀድሞ «ከወንዝ ማዶ ነው» እየተባለ የሚናቅ ቦታ አሁን የሚፈለግ ሆኗል። እዚህ ላይ አንድ የሚያሳስበኝ ልዩነት አለ። በ1950ዎቹ የጀርመን ባለሙያዎች ለባሕር ዳር ፕላን ሲያወጡ ከተማዋ ገና አልሞላችም ነበር፤ ዛሬ የምንኮራባቸው ሰፋፊ ጎዳናዎች፣ የዘንባባ ረድፎችና ወደ ሐይቁ የሚያመሩ መንገዶች የተገኙት ፕላኑ ከሕዝቡ ስለቀደመ ነው። ዓባይ ማዶ ግን በብዙ ስፍራ ሕዝቡ ከፕላኑ ቀድሟል። ቤት ከተሠራ በኋላ መንገድ ማስፋት ማፍረስን፣ ካሣንና ቅሬታን ያስከትላል፤ ከድልድዩ የሚነሱት ዋና ዋና መንገዶች ስፋታቸው አሁኑኑ በመሬት ላይ ምልክት ተደርጎ ካልተጠበቀ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ስድስት መስመር ያለው ድልድይ ወደ ሁለት መስመር መንገድ የሚፈስ ይሆናል፣ መጨናነቁም ከድልድዩ ላይ ተነስቶ ወደ ድልድዩ እግር ይዛወራል። በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት ባጃጆች በማዶው ጫፍ ላይ ተሳፋሪ ለመጫን ሲደረደሩ የዚህ ምልክት ከወዲሁ ይታያል። ለባጃጅና ለሚኒባስ ከመንገዱ ገባ ያለ መጫኛና ማውረጃ ቦታ መዘጋጀት አለበት።

ስለ ውኃ ሳይነሳ ስለ ዓባይ ማዶ ማውራት አይቻልም። ብዙ እንግዳ የሚገረምበት ነገር ቢኖር፣ የባሕር ዳር የመጠጥ ውኃ በዋናነት የሚመጣው ከሐይቁ ሳይሆን ከምንጮችና ከጥልቅ ጉድጓዶች መሆኑ ነው። ከተማዋ ቆሻሻ ውኃን የሚሰበስብ የጋራ ቱቦ ስለሌላት፣ እያንዳንዱ ቤት በራሱ የመጸዳጃ ጉድጓድ ይጠቀማል። ቤቶች በተራራቁበት ዘመን ይህ ብዙ ችግር አላስከተለም፤ ቤት ከቤት ሲጠጋጋ ግን የመጸዳጃ ጉድጓዱ የሚሰርገው ወደ ከርሰ ምድር ውኃው፣ ከዚያም ወደ ዓባይና ወደ ሐይቁ ዳርቻ ነው። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት ተመዝግቧል፤ ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮም እምቦጭ እየወረረው መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። እምቦጩን የሚያበረታው ደግሞ ከእርሻና ከከተማ የሚታጠበው ንጥረ ነገር ነው። የደንገሉ ረግረግ ይህን የሚያጣራ የተፈጥሮ ወንፊት ነው፤ በጣና ዳርቻ የሚኖሩት ነገደ ወይጦዎች ታንኳ የሚሠሩበት ይህ ደንገል በመኖሪያና በሆቴል ግንባታ እየተመነጠረ ከሄደ የሚጎዳው የእነርሱ ሙያ ብቻ ሳይሆን የመላው ከተማ ውኃ ነው። ስለዚህ በድልድዩ ግራና ቀኝ ያለው የወንዝ ዳርቻ ለማንም በሊዝ እንዳይተላለፍ፣ ለሕዝብ መናፈሻና ለደንገል እንዲተው አጥብቄ እጠይቃለሁ። ይህ ዳርቻ አንድ ጊዜ በግንብ ከተያዘ ተመልሶ አይገኝም።

ስለ ሌሊቱ አገልግሎት ጥቂት ልበል። መብራቱ ጥሩ ነው፣ ድልድዩም ሲመሽ ያምራል። ችግሩ ከድልድዩ አልፎ ባሉት የማዶ መንደሮች የመንገድ መብራት መሳሳቱ ነው።

ወደ ዓባይ ማዶ ለመዛወር ወይም እዚያ ቤት ለመከራየት የሚያስቡ ቤተሰቦች አሁን ብዙ ስለሆኑ፣ ከልምዴ የምመክረው ይህን ነው። ቤቱን በበጋ ብቻ አይታችሁ አትወስኑ፤ በሐምሌ ወይም በነሐሴ ከዝናብ በኋላ ሂዱና ጎርፉ በየት በኩል እንደሚያልፍ ጎረቤቱን ጠይቁ። ውኃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ አከራዩን ብቻ ሳይሆን ተከራዮችንም ጠይቁ። የመጸዳጃ ጉድጓዱ ሲሞላ የመምጠጫ መኪና ወደ ግቢው መግባት መቻሉን እዩ። ልጆች ካሏችሁ ወደ ትምህርት ቤት የሚሄዱበትን መንገድ አብራችሁ በእግር ተጓዙት፤ ድልድዩን በሰላም ይሻገራሉ፣ አደጋው ያለው ዋናውን የጎንደር መንገድ አቋርጠው ወደ ድልድዩ የእግረኛ መሄጃ በሚደርሱበት ቦታ ስለሆነ እዚያ ላይ ልብ በሉ። በብስክሌት ወደ ሥራ የሚሄድ ሰው ካለ ማለዳ 12 ሰዓት ተኩል አካባቢ ቢሻገር መስመሩን ባዶ ያገኘዋል፤ ከ1 ሰዓት ተኩል በኋላ ግን ከተማሪው ጋር ይገናኛል። በባጃጅ የሚመላለስም ማታ ላይ ከመሀል ከተማ ወደ ማዶ የሚሻገር ባጃጅ ስለሚያንስ፣ ሥራው አምሽቶ የሚያልቅ ሰው መመለሻውን አስቀድሞ አስቦ ቤቱን ከዋናው መንገድ ብዙ ሳይርቅ ቢይዝ ይሻለዋል።