ስኩተር ለደሴ፣ ስኩተር ለኮምቦልቻ፦ የትኛው ለማን ይሆናል?

ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በርዝመቱ ብቻ ከታየ ማንኛውም ስኩተር የሚጨርሰው መንገድ ነው። ነገር ግን ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር አካባቢ ሜዳ ላይ ስትሆን፣ ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ጦሳ ተራራ ግርጌ ናት። 600 ሜትር ያህል ሽቅብ ማለት ነው፤ ዋናው ፈተናም በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው የሀረጎ ዳገት ነው። ሻጭ «በአንድ ቻርጅ 80 ኪሎ ሜትር ይሄዳል» ሲል የሚናገረው ስለ ሜዳ መንገድ፣ ስለ አንድ ቀላል ሰውና ስለ ዝግ ያለ ፍጥነት ነው። ስለዚህ ከዋጋውም ከቀለሙም በፊት መልስ የሚያስፈልገው ጥያቄ ይህ ነው፦ ስኩተሩ ሀረጎን ይወጣል ወይስ ከተማ ውስጥ ይውላል?

ቆመው የሚነዱት

ታጥፎ በእጅ የሚያዘው የኤሌክትሪክ ስኩተር ከ12 እስከ 15 ኪሎ ይመዝናል። ሞተሩ አብዛኛውን ጊዜ 350 ዋት፣ ባትሪው 36 ቮልት ሆኖ ከ7.5 እስከ 10 አምፒር ሰዓት የሚይዝ ነው፤ የሚሸከመውም ከ100 እስከ 120 ኪሎ ነው። ኮምቦልቻ ላይ፣ በሜዳው አስፋልት፣ ከቤት ወደ ግቢ ወይም ወደ ሥራ ቦታ ሦስት አራት ኪሎ ሜትር ለሚመላለስ ተማሪና ሠራተኛ ጥሩ ነው። ክፍል ውስጥ ይገባል፣ አልጋ ሥር ያድራል።

ለደሴ ግን አንመክረውም። በሰፈሮቹ ዳገት ላይ ጉልበቱ ያልቅና ወርዶ መግፋት ይመጣል። ጎማው 8.5 ኢንች ብቻ ስለሆነ የኮብልስቶን ክፍተት እንኳ ይይዘዋል፤ ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ደግሞ ነጂውን ወደ ፊት ይወረውራል። ድፍን ጎማ ያለው አይተነፍስም፣ ነገር ግን ንዝረቱን በሙሉ ወደ መታጠፊያው ያስተላልፋል፤ የመታጠፊያው ብሎኖች በየሳምንቱ ካልጠበቁ መሪው መወላገድ ይጀምራል። እርጥብ አስፋልት ላይም ያንሸራትታል። የአየር ጎማ ይሻላል፣ ግን ከ45 እስከ 50 ፒኤስአይ ይሞላ፤ አብዛኛው የካላማደሪያ መበሳት የሚመጣው ከሚስማር ሳይሆን አየሩ ሳስቶ ጎማው በቸርኬውና በድንጋይ መካከል ሲቆነጠጥ ነው። «ውኃ አይገባውም» መባሉም ለፍንጣቂ እንጂ ለክረምት ኩሬ አይደለም።

ተቀምጠው የሚነዱት ኤሌክትሪክ

አሁን ብዙ ገዢ የሚጠይቀው ይህን ነው፤ ብዙ ገዢም የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ከውጭ ሁሉም ይመሳሰላሉ፤ ልዩነታቸው መቀመጫው ሥር ነው።

እርሳስ ባትሪ ያለው ባለ 12 ቮልት ባትሪዎችን በተርታ ያስራል፦ 48 ቮልት ከሆነ 4፣ 60 ከሆነ 5፣ 72 ከሆነ 6። በብዛት የሚገኘውን 60 ቮልት 20 አምፒር ሰዓት እንውሰድ። ሁለቱ ሲባዙ ባትሪው የሚይዘው ኃይል 1,200 ዋት ሰዓት ይሆናል። እርሳስ ባትሪ ግን ዳገት ላይ በአንድ ጊዜ ብዙ ሲጠየቅ ከያዘው ሰባ ከመቶ ገደማውን ብቻ ይሰጣል፤ በእጅ የሚቀረው 850 ዋት ሰዓት አካባቢ ነው።

ወጪውን ደግሞ እናስላ። ስኩተሩ 110 ኪሎ፣ ነጂው 70 ኪሎ ቢሆኑ 180 ኪሎ 600 ሜትር ከፍ ለማድረግ ብቻ 300 ዋት ሰዓት ያህል ያስፈልጋል። ሞተሩና ሽቦው በሙቀት የሚያባክኑት ሲጨመር ወደ 380 ይጠጋል። 25 ኪሎ ሜትሩን ለመንከባለልና አየሩን ለመግፋት በኪሎ ሜትር 20 ቢታሰብ 500 ይሆናል። ድምሩ 880 ነው። አዲስ ባትሪ ይዞ ከኮምቦልቻ የተነሳ ሰው ደሴ መግቢያ ላይ ይቆማል ማለት ነው። ባትሪው አንድ ዓመት ካገለገለ ወይም ከኋላ ሰው ከተጫነ ሀረጎ ላይ ይቀራል። በተቃራኒው ኮምቦልቻ ውስጥ ብቻ ለሚውል ሰው ይኸው ስኩተር ቀኑን ሙሉ ይበቃዋል፤ ዋጋውም ከሊትየሙ ያንሳል።

ሁለቱን ከተሞች በየቀኑ የሚያገናኝ ሰው ሊትየም ይፈልጋል፤ ያውም 72 ቮልት ከ35 እስከ 40 አምፒር ሰዓት የሚይዝ። ይህ ከ2,500 ዋት ሰዓት በላይ ስለሆነ ወጥቶ ለመመለስ ትርፍ አለው። ሊትየም አይረን ፎስፌት የሚባለው ዓይነት በአግባቡ ከተያዘ ከ1,500 ጊዜ በላይ ይሞላል፤ እርሳሱ ግን ከ300 ጊዜ በኋላ መድከሙ የተለመደ ነው። በየቀኑ የሚሞላ ከሆነ አንድ ዓመት ያህል ነው። ስለዚህ ርካሹን የገዛ ሰው የባትሪ መቀየሪያ ገንዘብ አሁኑኑ ለብቻው ቢያስቀምጥ ይሻለዋል።

የቤት ተከራይ የሆነ ሰው አንድ ነገር ያስብ። አምስቱ እርሳስ ባትሪዎች በአንድ ላይ ከ30 ኪሎ በላይ ስለሆኑ ተሸክሞ ደረጃ መውጣት አይቻልም፤ ስኩተሩ ራሱ ሶኬት አጠገብ መቆም አለበት። ያንኑ ያህል ኃይል የሚይዝ ተነቃይ ሊትየም 10 ኪሎ ገደማ ሲሆን እንደ ጄሪካን ተንጠልጥሎ ይገባል። ቻርጀሩ ከ220 ቮልት የሚወስደው ከ200 እስከ 250 ዋት ስለሆነ ቆጣሪ አያስጨንቅም። ሌሊቱን መብራት ከሄደ ግን ጠዋት ባትሪው ግማሽ ነው፤ ባለ 3 አምፒር ቻርጀር 20 አምፒር ሰዓቱን ባትሪ ለመሙላት ከ7 እስከ 8 ሰዓት ይፈጃል። ከሁሉም በላይ የእርሳስ ቻርጀር ሊትየም ላይ ፈጽሞ አይሰካ። መሰኪያው ስለገጠመ ይሠራል ማለት አይደለም፤ ቮልቱ ይለያያል፣ መጨረሻውም እሳት ሊሆን ይችላል።

ሌላው ዳገት ላይ የሚታየው ችግር ሙቀት ነው። አብዛኞቹ ሞተራቸው የኋላ ጎማው ውስጥ ነው። ማርሽ ስለሌለው ዳገት ላይ ፍጥነቱ ሲወርድ ሞተሩ ብዙ አምፒር ይጠጣል፤ የጠጣው ግን ወደ ጉልበት ከመሆን ይልቅ ወደ ሙቀት ይሄዳል። ስምንት ከመቶ በሆነ ዳገት ላይ ያንን 180 ኪሎ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ለማውጣት ጎማው ላይ ከ1,300 ዋት በላይ ያስፈልጋል። 1,000 ዋት ተብሎ የተጻፈበት ሞተር ይህን ለጥቂት ደቂቃ ይችላል፣ ለረጅም ዳገት ግን አይችልም። መጀመሪያ የተቃጠለ ቫርኒሽ ሽታ ይመጣል፣ ከዚያ ከባትሪ ወደ ሞተር የሚሄደውን ኃይል የሚመጥነው ኮንትሮለር ራሱን ያጠፋል። ሲጠፋ 20 ደቂቃ ጥላ ሥር ማቆም ነው፤ ውኃ ማፍሰስ ኩሽኔታውን ከማበላሸት ሌላ አይጠቅምም። በዚህ ሁኔታ ደጋግሞ የተነዳ ሞተር ማግኔቱ ስለሚደክም ዳግመኛ እንደ አዲሱ አይጎትትም። ለሀረጎ ቢያንስ 2,000 ዋት የተጻፈበት ሞተር ይፈለግ። የኮንትሮለሩም አምፒር ይታይ፦ 60 ቮልት በ30 አምፒር 1,800 ዋት ነው፤ ሞተሩ ላይ 3,000 ቢጻፍም ከዚህ በላይ አያገኝም።

የኤሌክትሪክ ትልቁ በጎ ነገር ደግሞ ይኸውና፦ ከፍታ አይቀንሰውም። ደሴ ላይም ኮምቦልቻ ላይም የሚሰጠው ጉልበት አንድ ነው። ቤንዚን እንዲህ አይደለም።

አውቶማቲክ የቤንዚን ስኩተር

እንደ ቲቪኤስ ጁፒተርና ሆንዳ ዲዮ ያሉት 110 ሲሲ፣ እንደ ኤንቶርክ ያሉት ደግሞ 125 ሲሲ ናቸው። ሞተር በየ100 ሜትሩ ከፍታ አንድ ከመቶ ያህል ጉልበት ይቀንሳል፤ ደሴ ላይ ሩብ ገደማው የለም ማለት ነው። ወረቀቱ ላይ 8 የፈረስ ጉልበት የተጻፈለት ደሴ ሲደርስ 6 ብቻ ነው። አንድ ሰው ይዞ ሀረጎን ይወጣል፣ ቀስ ብሎ። ሁለት ሰውና ጭነት ከሆነ ከ125 በታች አይታሰብ፤ 150 ቢሆን ነዳጁ ትንሽ ቢጨምርም ሞተሩ አይጨነቅም።

ቤንዚንና አየር የሚቀላቅል ካርቡራተር ባለውና ቤንዚኑን በኤሌክትሮኒክስ መጥኖ በሚረጭ ኢንጀክሽን ባለው መካከል ያለው ልዩነት እዚህ አገር ከሌላው ቦታ ይልቅ ይሰማል። ደሴ አየሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ ለዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለ ካርቡራተር ቤንዚን ያበዛል፦ ካንዴላው ጥቁር ጥላሸት ይለብሳል፣ ጠዋት ማስነሳት ይከብዳል፣ ነዳጁ ያለምክንያት ያልቃል። መፍትሔው ጂግለሩን፣ ማለትም ቤንዚን የሚያልፍበትን ቀዳዳ፣ በአንድ ቁጥር ማሳነስ ነው። ያ የተስተካከለ ስኩተር ግን ኮምቦልቻ ሲወርድ ነዳጅ ያንሰውና ይሞቃል። ስለዚህ በሁለቱ ከተሞች የሚመላለስ ሰው ኢንጀክሽን ይግዛ፤ ራሱ ያስተካክላል። አንድ ከተማ ላይ ለሚቀር ካርቡራተር ይበቃል፣ ጋራዥ ሁሉ ይፈታዋል።

በነዳጅ በኩል በሜዳ በሊትር 45 ኪሎ ሜትር የሚሄደው ዳገት ላይ ወደ 35 ይወርዳል። ታንኩ 5 ሊትር አካባቢ ነው። ቤንዚን ሰልፍ በሚበዛበት ወቅት ይህም ከግምት ይግባ።

ያገለገለ ከሆነ ዋናው የሚታየው ቺንጊያው ነው። አውቶማቲኩ ማርሽ የለውም፤ ጉልበቱን በቺንጊያና በክብ ክብ ሮለሮች ያስተላልፋል። ቺንጊያው ከ20,000 እስከ 24,000 ኪሎ ሜትር ላይ ይቀየራል፤ ዳገት የበዛበት ቀደም ብሎ ይበላል። ሞተሩ እየጮኸ ስኩተሩ የማይፈጥን ከሆነ ቺንጊያው ወይም ፍሪሲዮኑ አልቋል። ሲነሳ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ፍሪሲዮኑ ወይም ሮለሮቹ ተበልተው ሊሆን ይችላል። ሮለሮቹ ሲቀየሩ እያንዳንዳቸው አንድ ግራም የቀለሉ ቢገቡ ዳገት ላይ በደንብ ይጎትታል፤ ከፍተኛ ፍጥነቱ ትንሽ ይቀንሳል፣ ለደሴ ሰው ይህ ኪሳራ አይደለም። የኋላ ጎማ ማስተላለፊያው የራሱ ዘይት እንዳለውም ብዙ ሰው አያውቅም፤ ከ100 እስከ 120 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው፣ ሲረሳ ግን ጥርሶቹ ይፈጫሉ።

እጁ ላይ ማርሽ ያለው አሮጌው ቬስፓ ለሚወደው ሰው ነው። ቤንዚኑ ውስጥ በሊትር 20 ሚሊ ሊትር የሁለት ምት ዘይት ይቀላቀላል፣ መለዋወጫውም በቀላሉ አይገኝም። በየቀኑ ለሥራ የሚፈልግ አይግዛው። በየቀኑ ኩንታል የሚጭንም ሰው ስኩተር ጭራሽ አይሆነውም፤ ቦክሰርን የመሰለ ባለ ማርሽ ሞተር ይመልከት።

ቁልቁለቱ

ሰው ስለ ዳገቱ ይጠይቃል፤ የሚገድለው ግን ቁልቁለቱ ነው። አውቶማቲክ ስኩተር ነዳጅ ሲለቀቅ ሞተሩ በመጠኑ ይይዘዋል፣ ፍጥነቱ በጣም ሲወርድ ግን ፍሪሲዮኑ ይለቅና በነጻ ይንሸራተታል። ያን ጊዜ ያለው ፍሬን ብቻ ነው። ፍሬን ሳይለቁ ቀስ አድርጎ ይዞ መውረድ የፍሬን ሸራውን ያሞቀዋል፤ የሞቀ ሸራ ይንሸራተታል፣ እጀታው ቢጨመቅም አይይዝም። ከኩርባው በፊት ጠንከር አድርጎ ይዞ ፍጥነትን መቀነስ፣ ከዚያ ለቅቆ እንዲበርድ ማድረግ ነው ትክክሉ። ለዚህ መንገድ ፊት ጎማው ላይ ዲስክ ፍሬን የሌለው ስኩተር አይገዛ። የዲስኩ ፍሬን ዘይት «ዶት 4» የተጻፈበት ይሁን፤ በየሁለት ዓመቱም ይቀየር፣ እርጥበት የጠጣ ዘይት ሲሞቅ ስለሚፈላ።

በፍሬን ጊዜ ባትሪ የሚሞላ ኤሌክትሪክ ካለ ደግሞ አንድ ወጥመድ አለው። ባትሪው ሙሉ ከሆነ የሚመለሰውን የሚቀበልበት ቦታ ስለሌለው ያ ፍሬን ይደክማል ወይም ጭራሽ አይሠራም። ደሴ ያደረ ሰው ወደ ኮምቦልቻ ሲወርድ 85 ከመቶ ሞልቶ ይነሳ፤ ቁልቁለቱ የሚመልሰውን የሚቀበልበት ቦታ ይኖረዋል።

የጎማ መጠንም እዚህ ጋ ይገባል። 10 ኢንች ለከተማ ውስጥ ይሆናል፤ ለሀረጎ 12 ኢንች ይሁን፣ ጉድጓድ ላይ መሪው አይነጠቅም። ክረምት ጉም ሲወርድ የፊት መብራቱ ኤልኢዲ ነጭ ብቻ ከሆነ ጉሙን መልሶ ያንጸባርቃል፤ ዝቅ ብላ የተገጠመች ቢጫ መብራት ትረዳለች።

ለማን

ሽርጥ ለሚታጠቅ፣ ረጅም ቀሚስ ወይም ጅልባብ ለምትለብስ ሰው ስኩተር ከማንኛውም ሞተር ይመቻል፦ እግር አንስቶ መሻገር የለም፣ ሰንሰለት የለም። ጎማው የሚነጥቀው የልብስ ጫፍ ካለ ከኋላ የሚቀመጠው ሰው ነው፤ የጎማው መሸፈኛ ሙሉ መሆኑ ይታይ።

ኮምቦልቻ ነዋሪ ሆኖ ከተማው ውስጥ ለሚመላለስ ባለ 60 ቮልት እርሳስ በቂ ነው። ደሴ ውስጥ ለሚውል፣ ቤቱ ሶኬት ላለው፣ 60 ወይም 72 ቮልት ሊትየም ከ2,000 ዋት ሞተር ጋር በጣም ይመቻል፤ እኛ ለደሴ ከተማ ከቤንዚኑ እናስቀድመዋለን። በየቀኑ ሀረጎን ለሚወጣ ኢንጀክሽን ያለው 125 ወይም 150 ሲሲ ቤንዚን አሁንም አስተማማኙ ነው፤ ትልቅ ሊትየም የሚችል ገንዘብ ያለው ደግሞ እሱን ይምረጥ።

ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት የሻሲ ቁጥሩና የሞተር ቁጥሩ ከጉምሩክ ዲክላራሲዮኑ ወይም ከሊብሬው ጋር በዓይን ይመሳከር፤ «ኤሌክትሪክ ስለሆነ ታርጋ አይፈልግም» የሚል ሻጭ ቃል ሳይሆን የከተማው ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት መልስ ይወሰድ። እርሳስ ባትሪ ከሆነ ቴስተር ይዞ መሄድ ነው፦ ሙሉ ሆኖ ያረፈ ባትሪ 12.8 ቮልትና ከዚያ በላይ ማሳየት አለበት። ከዚያ ዳገት ይወጣበትና ወዲያው እያንዳንዱ እንደገና ይለካ። አንዱ ከሌሎቹ በግማሽ ቮልት ከወረደ እሱ የሞተ ነው፤ ሌሎቹንም ይዞ ይሄዳል። ሻጩ ዳገት ላይ እንዲሞከር ካልፈቀደ ግዢው እዚያው ይቁም።