የፍላት ኬብል ማራዘሚያ ቦርድ፦ የት ይሠራል፣ የት ያቃጥላል

ያጠረ ፍላት ኬብልን፣ ማለትም በመሣሪያ ውስጥ ክፍሎችን የሚያገናኘውን ጠፍጣፋ ኬብል፣ ለማስረዘም ከሚሸጡት ዕቃዎች ውስጥ ገንዘብ የሚገባው አንዱ ነው፦ ሁለት ኮኔክተር ጀርባ ለጀርባ ተበይዶበት የሚመጣው ትንሽ ማራዘሚያ ቦርድ። አሊኤክስፕረስ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ብራንድ፣ ከ4 ፒን እስከ 60 ፒን ድረስ ይገኛል። ነባሩ ኬብል በአንድ በኩል ይገባል፣ ተጨማሪው ኬብል በሌላው በኩል ይቀጥላል፣ መሃል ላይ ያሉት የመዳብ መስመሮች አንዱን ፒን ከአቻው ያገናኛሉ። ሲገጠም ብየዳ አያስፈልገውም። የተሠራለትን ሥራ በደንብ ይሠራል። ብዙ ጊዜ ችግር የሚመጣው ሳይለኩ ከማዘዝና በማይሆንበት ቦታ ከመግጠም ነው።

ብየዳ የማያስፈልገው መሆኑ ትልቁ ጥቅሙ ነው። ነጩ ፍላት ኬብል በሁለት የፖሊስተር ላስቲክ መካከል የተጣበቀ ስስ የመዳብ ጥብጣብ ነው። ጀርባው ላይ «ኤ ደብሊው ኤም 20624 80ሲ 60ቪ» የሚል ጽሑፍ ካለው፣ የተፈቀደለት ሙቀት 80 ዲግሪ ብቻ ነው ማለት ነው፤ 105 ዲግሪ የሚችሉም አሉ። ፖሊስተር 250 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል፣ የመበየጃው ጫፍ ግን 350 ዲግሪ ላይ ነው። ስለዚህ ሁለት ኬብል ጫፍ ለጫፍ ሊበየድ ሲሞከር መጀመሪያ የሚለቀው መስመሮቹን በቦታቸው የያዘው ማጣበቂያ ነው፤ መስመሮቹ ይንሸራተቱና ጎን ለጎን ይነካካሉ። በ1 ሚሜ ፒች (በፒኖቹ መካከል ባለው ርቀት) እጁ የረጋ ሰው ሊያደርገው ይችላል፣ በ0.5 ሚሜ ግን አይመከርም። ቡናማ ቢጫው የሞባይልና የካሜራ ፍሌክስ ኬብል ከፖሊኢማይድ ስለሚሠራ ሙቀት ይችላል፤ እሱን ከነጩ ጋር ማምታታት አይገባም።

ከማዘዝ በፊት ሦስት ነገሮች መታወቅ አለባቸው፦ የፒኑ ብዛት፣ ፒች እና መዳቡ የተገለጠበት ገጽ።

ፒች ማለት ከአንዱ ፒን መሃል እስከ ቀጣዩ ፒን መሃል ያለው ርቀት ነው። የተለመዱት 0.5 እና 1.0 ሚሜ ናቸው፤ 0.3፣ 0.8 እና 1.25 ሚሜም ይገጥማሉ። በዓይን መገመት ያሳስታል። ከመጀመሪያው ፒን መሃል እስከ መጨረሻው ፒን መሃል በካሊፐር (ሚሊሜትርን ከፋፍሎ በሚለካ መሣሪያ) ተለክቶ፣ ከፒኑ ብዛት አንድ ተቀንሶ በቀረው ቁጥር ይካፈል። ማረጋገጫው የኬብሉ ስፋት ነው፦ የፒኑ ብዛት ላይ አንድ ተደምሮ በፒች ሲባዛ ስፋቱ ይወጣል። 15 ፒን በ1.0 ሚሜ፣ 16 ሚሜ ይሆናል፤ 22 ፒን በ0.5 ሚሜ፣ 11.5 ሚሜ። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፦ ባለ 40 ፒን በ0.5 ሚሜ ኬብል ስፋቱ 20.5 ሚሜ ሲሆን ባለ 20 ፒን በ1.0 ሚሜ ደግሞ 21 ሚሜ ነው። ልዩነታቸው ግማሽ ሚሊሜትር ስለሆነ ስፋቱን ብቻ ለክቶ ያዘዘ ሰው የማይሠራ ዕቃ ይደርሰዋል። ዕቃው ከውጭ እስኪመጣ ሳምንታት መጠበቅ ላለበት ሰው ፒኑን በማጉያ መነጽር መቁጠር ይሻለዋል።

ሦስተኛው ነገር በጣም የሚያሳስተው ነው። ኬብሉ በሁለቱም ጫፍ መዳቡ በአንድ ገጽ ላይ ከተገለጠ ሻጮች «ኤ ታይፕ» ይሉታል። አንዱ ጫፍ ላይ ወደ ላይ፣ ሌላው ጫፍ ላይ ወደ ታች ከሆነ ደግሞ «ዲ ታይፕ» ይባላል፤ «ቢ ታይፕ» ብለው የሚጽፉትም አሉ። ደንቡ እንዲህ ነው፦ የቦርዱ ሁለት ኮኔክተሮች አንድ ዓይነት ከሆኑ፣ በአንድ ፊት ላይ ከተቀመጡና መስመሮቻቸው ቀጥ ብለው ካለፉ፣ ነባሩ ኬብል ኤ ይሁን ዲ፣ የሚጨመረው ኬብል ሁልጊዜ ኤ ታይፕ ነው። ኤ ላይ ኤ ሲጨመር ኤ ይሆናል፣ ዲ ላይ ኤ ሲጨመር ዲ ሆኖ ይቀራል። ሁለት ዲ ሲቀጣጠሉ ግን ውጤቱ ኤ ይሆናል፤ ያኔ መጨረሻው ጫፍ ላይ መዳቡ በተቃራኒው ይወጣል። ብዙ ሰው ኬብሉን ጠምዝዞ ለማስገባት የሚገደደው እዚህ ላይ ነው። ሲጠመዘዝ 1ኛው ፒን በመጨረሻው ፒን ቦታ ይገባል፤ የኃይል መስመሩ ሄዶ የመረጃ መስመር ላይ ያርፋል።

በዚህ ምክንያት በላይም በታችም የሚነኩ ኮኔክተሮች የተገጠሙበት ቦርድ «ለሁሉም ይሆናል» ተብሎ ቢሸጥም በአንድ ገጽ ብቻ የሚነካው ይመረጣል። በአንድ ገጽ በሚነካው ላይ ኬብል ተገልብጦ ቢገባ ጥርሶቹ የሚያገኙት ላስቲኩን ነው፤ ምንም አይሠራም፣ ምንም አይቃጠልም። በሁለት ገጽ የሚነካው ግን የተገለበጠውንም ኬብል ተቀብሎ ቅደም ተከተሉን ገልብጦ ያገናኛል። አንዳንድ ሻጭ የትኛው እንደሆነ አይጽፍም፤ ኮኔክተሩ ከፊት ሆኖ የተነሳበትን ፎቶ መጠየቅ ያስፈልጋል።

የቦርዱ አሠራር በጥቅሉ ጥሩ ነው፣ ጉድለት ግን አለው። ርካሾቹ ላይ 1ኛ ፒን የት እንደሆነ አይጻፍም፤ ከመግጠም በፊት በማርከር ምልክት ማድረግ ይገባል። ብዙዎቹ የብሎን ቀዳዳ የላቸውም። ውፍረቱም ይታሰብበት፦ ቦርዱ 1.6 ሚሜ፣ ኮኔክተሩ 2 ሚሜ ሲሆኑ በድምሩ 3.6 ሚሜ ነው። ቀጭን ላፕቶፕ ውስጥ፣ በተለይ ከኪቦርድ ሥር፣ ይህ ቁመት አይገባም፤ 1 ሚሜ ገደማ ቁመት ያለው ኮኔክተርና ቀጭን ቦርድ ተመርጦ ይታዘዝ። የቦርዱ ጀርባ ላይ የተጋለጡ ነጥቦች ካሉ በካፕተን ቴፕ (ሙቀት በሚችል መከለያ ቴፕ) ይሸፈኑ፤ የመሣሪያው ብረት አካል ላይ ሲያርፉ ሾርት ያደርጋሉ።

ሲገጠም የሚሰበረው መቆለፊያው ነው። ሁለት ዓይነት አለ፦ በሁለቱ ጎን እኩል ወደ ውጭ 1 ሚሜ ገደማ የሚሳበው እና እንደ ክዳን ወደ ላይ የሚነሳው። የሚነሳውን መሳብ፣ የሚሳበውን ማንሳት ሁለቱም ይሰብራሉ። ስለዚህ ከመንካት በፊት በማጉያ ይታይ፣ በብረት ወረንጦ ሳይሆን በፕላስቲክ መክፈቻ ይከፈት። ኬብሉ እስከ መጨረሻው ገብቶ ጫፉ ላይ ከጀርባ የተለጠፈው የማጠንከሪያ ፕላስቲክ ጠርዝ ከኮኔክተሩ አፍ ጋር ትይዩ መሆን አለበት። በአንድ በኩል ጥቂት እንኳ ካዘመመ፣ በ0.5 ሚሜ ፒች አንድ ጥርስ ሁለት መስመር ሊነካ ይችላል፤ በመስመሮቹ መካከል ያለው ክፍተት 0.2 ሚሜ ብቻ ነውና። እነዚህ ኮኔክተሮች በአብዛኛው ከ10 እስከ 30 ጊዜ ለሚደርስ ማስገባትና ማውጣት የተሠሩ ስለሆኑ ለሙከራ ብሎ ደጋግሞ መንቀል ዕድሜያቸውን ይበላል።

ኃይል ከመስጠት በፊት መስመር ሲገናኝ በሚጮኸው የመልቲሜትር መለኪያ መፈተሽ ግዴታ ነው። ባትሪው ተነቅሎ፣ ኬብሉ ከሁለቱም መሣሪያዎች ወጥቶ፣ ከዚህኛው ጫፍ 1ኛ ፒን እስከ ወዲያኛው ጫፍ 1ኛ ፒን ይለካ፤ እንዲህ እያለ እስከ መጨረሻው። ቀጥሎ እያንዳንዱ ፒን ከጎረቤቱ ጋር ይለካ፤ እዚህ መጮህ የለበትም። አንዳንድ ኬብል ላይ ሁለት ሦስት የግራውንድ ፒኖች መሣሪያው ውስጥ ስለሚገናኙ ተነቅሎ ካልተለካ የውሸት ሾርት ያሳያል። በመጨረሻ ቦርዱን ቀስ እያደረጉ እያወዛወዙ እንደገና መለካት ነው፤ የላላ መቆለፊያ የሚያዘው በዚህ ነው።

ርዝመቱ ስንት ሊሆን ይችላል? መልሱ ያለው በመስመሩ ውፍረት ላይ ነው። በ0.5 ሚሜ ፒች ኬብል የአንድ መስመር ስፋት 0.3 ሚሜ፣ ውፍረቱ 0.035 ሚሜ ከሆነ በየሜትሩ 1.6 ኦም ገደማ ይይዛል። 60 ሴንቲሜትር ላይ 1 ኦም፣ መሄጃና መመለሻው ተደምሮ 2 ኦም ነው። በአንድ ፒን 0.5 አምፔር ካለፈ፣ ይህም ለብዙዎቹ የ0.5 ሚሜ ኮኔክተሮች ጣሪያው ነው፣ 1 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል፤ 5 ቮልት የነበረው 4 ይደርሳል። ለመሄጃውም ለመመለሻውም አራት አራት ፒን ጎን ለጎን ከተመደበ ኪሳራው ወደ ሩብ ይወርዳል። ለማብሪያ ማጥፊያ ፓነል፣ ለኪቦርድ፣ ለታችፓድ 30 ሴንቲሜትር መጨመር ችግር የለውም።

ምስል የሚያልፍባቸው ኬብሎች ግን ሌላ ናቸው። የቴሌቪዥን ፓነልና የካሜራ ምልክት በጥንድ መስመሮች ይጓዛል፤ ጥንዱ 100 ኦም ኢምፒዳንስ (ፈጣን ምልክት የሚገጥመው መቋቋም) እንዲይዝ ይፈለጋል። ተራው ማራዘሚያ ቦርድ ይህን አስቦ የተሠራ አይደለም፤ ውጤቱ ስክሪኑ ላይ ነጠብጣብ፣ የቀለም መዛባት፣ አልፎ አልፎ መጥፋት ነው። ራስበሪ ፓይ ለተባለችው ትንሽ ኮምፒውተር ካሜራ ቦርዱን ትቶ አንድ ወጥ ረጅም ኬብል መግዛት ይሻላል፤ ከራሱ ከአምራቹ እስከ 50 ሴንቲሜትር ይገኛል። የካሜራው ጫፍ ብዙውን ጊዜ 15 ፒን በ1.0 ሚሜ ሲሆን የፓይ ዜሮና የፓይ 5 ጫፍ 22 ፒን በ0.5 ሚሜ ስለሆነ፣ ለእነዚህ ሁለቱ ጫፉ የተለያየው ኬብል ነው የሚታዘዘው።

ፈጽሞ የማይገጠምበት ቦታ ደግሞ አለ፦ የኢንክጄት ፕሪንተር የሄድ (ቀለም የሚረጨው ክፍል) ኬብል። የኤፕሰን ኤል ተከታታይ ፕሪንተሮች ሄድ በ42 ቮልት ገደማ ይነዳል፤ ያ ኃይል ከዝቅተኛ ቮልቴጅ የመረጃ መስመሮች አጠገብ ለአጠገብ ያልፋል። ኬብሉ አዘምሞ ሲገባ ወይም ጫፉ ላይ ቀለም ሲደርስ ማዘርቦርዱ ላይ ያለው ፊውዝ ይሄዳል፣ ሲከፋም መንጃ ትራንዚስተሮቹና ሄዱ ራሱ ይቃጠላሉ። በዚያ ላይ ኬብሉ ከሄዱ ጋር ቀኑን ሙሉ ይመላለሳል፤ መሃሉ ላይ ቦርድ ከተንጠለጠለበት መቆለፊያው ቀስ በቀስ ይለቃል። እዚህ የሚሆነው ልኩን የጠበቀ አዲስ ኬብል ብቻ ነው።

ከማራዘሚያ ቦርዱ ጎን የሚቀርቡትን አማራጮች በአጭሩ። በአንድ ፊት 0.5፣ በሌላው 1.0 ሚሜ ፒች የሆነውና በ2.54 ሚሜ ርቀት የተደረደሩ ቀዳዳዎች ያሉት ቦርድ ለመለካትና ለሙከራ በጣም ጠቃሚ ነው። እንዲህ ያሉ ሁለት ቦርዶችን በጃምፐር ሽቦ አያይዞ ማስረዘምም ይቻላል፣ ለዘገምተኛ ምልክት ብቻ። ኮኔክተሩ ሳይበየድ ከመጣ በቂ ፍሉክስ (ብየዳው እንዲይዝ የሚቀባ) ያስፈልጋል፤ ሊዱ (ቀልጦ የሚበይደው ብረት) ሲበዛ ግን ወደ ጥርሶቹ ውስጥ ተስቦ ያደርቃቸዋል። ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ የብር ቀለም ያለው ብዕር ለኪቦርድ ሜምብሬን (ከቁልፎቹ ሥር ላለው ስስ ላስቲክ) ጭራ ይሆናል፤ ያ ጭራ ራሱ በፖሊስተር ላይ የታተመ ቀለም እንጂ መዳብ ስላልሆነ አይበየድም። ኤሌክትሪክን ከላይ ወደ ታች ብቻ ያስተላልፋል የሚባለው ቴፕ ሰፊ መስመርና የማያቋርጥ ጫና ይፈልጋል፤ ለ0.5 ሚሜ ፒች ገንዘብ አይጣልበት።

ኬብሉ ያላጠረ፣ ጫፉ ላይ ብቻ የተሰነጠቀ ከሆነ ምንም መግዛት አያስፈልግም። ነጭ ኬብል በብዛት የሚሰበረው ማጠንከሪያው በሚያበቃበት መስመር ላይ ነው፣ እጥፋቱ ሁሉ እዚያ ስለሚያርፍ። ከ5 እስከ 8 ሚሜ ለማጠር የሚበቃ ትርፍ ርዝመት መኖሩ ከተረጋገጠ በኋላ፣ የተሰነጠቀው ክፍል በስለታም ምላጭና በማስመሪያ ቀጥ ተደርጎ ይቆረጥ። ከዚያ መዳቡ በሚገለጥበት ገጽ በኩል ብቻ 4 ሚሜ ያህል ላስቲኩና ማጣበቂያው በምላጭ ጀርባ ቀስ ተብሎ ይፋቅ። ብርጭቆ ወረቀት የቆርቆሮ ቅቡን ስለሚያነሳ መዳቡ በኋላ ይዝጋል፤ ምላጭ ይሻላል። በ99 በመቶ አልኮል ይጠረግ። ከጀርባው ከአሮጌው ጫፍ የተላጠው ማጠንከሪያ፣ ወይም ተመሳሳይ ውፍረት ያለው ፕላስቲክ ይለጠፍ። ጠቅላላ ውፍረቱ አብዛኛውን ጊዜ 0.3 ሚሜ መሆን አለበት፤ ከዚያ ከሳሳ መቆለፊያው አይጨብጠውም፣ ከወፈረ ጥርሶቹን ያጣምማል። የተፋቀውን ጫፍ በሊድ መቀባትም ውፍረቱን ስለሚጨምር ይቅር።