ከአዲስ አበባ አርባ ምንጭ በአውቶብስ፦ ትኬታችሁን አትስጡ

ዘመድ ለመጠየቅ አገር ቤት ገብታችሁ ወደ ደቡብ በአውቶብስ ለመሄድ ያሰባችሁ ካላችሁ ይህን አንብቡልኝ። አንድ ነገር ብቻ ያዙልኝ። መንገድ ላይ ረዳቱ «ትኬት አምጡ» ሲላችሁ አሳዩት እንጂ አትስጡት።

ያደግኩት አርባ ምንጭ፣ ሴቻ ነው። አሁን የምኖረው ፍራንክፈርት ነው፣ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ እሠራለሁ። ዘንድሮ የመጣሁት ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ነው። ዘመዶቼ ሁሉ «በአውሮፕላን ሂጂ፣ ምን አደከመሽ» ብለውኝ ነበር። እኔ ግን መንገዱን ነበር የፈለግኩት። ከሶዶ ወዲያ፣ ምዕራብ አባያ ላይ ሙዝ ሻጮቹ መኪናውን ሲከቡት፣ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ በግራ በኩል የአባያ ቀይ ውሃ ብቅ ሲል። አባያ ከጣና ቀጥሎ የአገራችን ትልቁ ሐይቅ ነው፣ ለእኛ ግን ልጅ ሆነን ከአባቴ ጋር ስንመለስ ያ ውሃ ታየ ማለት ቤት ደረስን ማለት ነበር። ፍራንክፈርት ሌሊት ተረኛ ሆኜ ስቀመጥ የማስበው እሱን ነው። ስለዚህ ከሁለት ቀን በፊት ሄጄ በግራ በኩል መስኮት ዳር አስይዤ ትኬት ቆረጥኩ። 1,100 ብር። «አዲስ አበባ – አርባ ምንጭ» ተብሎ በእስክሪብቶ ተጽፎበታል።

11 ሰዓት ተኩል ተገኙ ተባልን። እኔ 11 ሰዓት ላይ ደረስኩ፣ ገና ሳይነጋ፣ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ከታክሲው ሳልወርድ ሁለት ልጆች ሻንጣዬን ያዙት፣ አንዱ ወደዚህ ይጎትታል አንዱ ወደዚያ። እንደምንም አስለቅቄ አውቶብሱ ጋ ስደርስ ረዳቱ ሻንጣዬን ላይ ለመጫን 500 ብር አለኝ። ከፊቴ የነበረው ሰውዬ አንድ ኩንታል ሙሉ ጭኖ 150 ሲከፍል ዓይኔ እያየ ነው። «ለምን?» ስለው «እህቴ፣ ይሄ እኮ የውጭ ሻንጣ ነው» አለኝ። ለካ የአየር መንገዱ ወረቀት እጀታው ላይ እንደተለጠፈ ነው። ከቦሌ ስትወጡ እሱን ቅደዱት። ተከራክሬ 300 ከፈልኩ፣ ደረሰኝ የለውም።

11 ሰዓት ተኩል የተባለው አውቶብስ የተነሳው 2 ሰዓት ላይ ነው። ሁለት ሰዓት ተኩል ሙሉ ቁጭ ብለን አንድ ሰው መጥቶ «በዚህ ምክንያት ነው» አላለንም። ጀርመን ባቡር አይዘገይም የሚል ካለ አይመነው፣ በጣም ይዘገያል። ግን 60 ደቂቃ ከዘገየ የትኬቱን 25 በመቶ፣ 120 ደቂቃ ከዘገየ ግማሹን ትጠይቃላችሁ፣ ይመለስላችኋል። ለምን እንደዘገየም ይነገራችኋል። እዚህ የጠየቀ ሰው ነገረኛ ነው የሚባለው። ሁለቴ ጠየቅኩ፣ ሁለተኛው ላይ ሹፌሩ ፊቱን አዞረብኝ።

ከተነሳን በኋላ ግን መንገዱ ደስ ይል ነበር፣ መዋሸት አልፈልግም። ጢያን አልፈን ቡታጅራ ቁርስ በላን። ወራቤን አልፈን ሆሳዕና ምሳ። ከጎኔ የተቀመጡት እናት አዲስ አበባ ለሕክምና መጥተው የሚመለሱ ናቸው። ራጃቸውን በትልቅ ቡናማ ፖስታ ይዘው እንዳይታጠፍባቸው ጭናቸው ላይ አጋድመውታል። ገና ሳንተዋወቅ ቆሎ በእጄ አፈሱልኝ። «ልጄ፣ ብዪ እንጂ፣ ከስተሻል።» ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በባቡር ወደ ሥራ ስሄድ ከጎኔ የተቀመጠ ሰው ብዪ ብሎኝ አያውቅም። ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ እንባዬን ጠረግኩ።

አረካን እንዳለፍን ረዳቱ ተነሳ። «ትኬት! ሁላችሁም ትኬት አምጡ!» መቆጣጠሪያ መሰለኝ፣ ሰጠሁት። እሳቸውም ሰጡት። ሁሉም ሰጠ። ሰብስቦ ኪሱ ከተተው፣ ለአንድም ሰው አልመለሰም። ያን ጊዜ ምንም አልመሰለኝም።

ሶዶ የገባነው 10 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። አብዛኛው ሰው ወረደ፣ የአርባ ምንጭ ተሳፋሪ 11 ብቻ ቀረን። ረዳቱ ብቅ ብሎ «የአርባ ምንጭ ሰዎች ውረዱ፣ ያቺ ሚኒባስ ታደርሳችኋለች፣ ሂሳባችሁ ተከፍሏል» አለን። ሸጡን ማለት ነው። አንድ ወጣት «ትኬቱ እኮ እስከ አርባ ምንጭ ነው» ሲል ሹፌሩ «ናፍጣ የለም፣ ከዚህ ወዲያ መሄድ አልችልም» አለ። እውነት ለመናገር ሆሳዕና ማደያው ጋ የተሰለፉትን መኪኖች አይተናል፣ ሰልፉ ውሸት አይደለም። ስለዚህ አመንነው። እኔ እንዲያውም አዘንኩለት።

ሻንጣዬ ከላይ እየወረደ ሳለ ግን አንድ ሌላ ልጅ የዚያው አውቶብስ በር ላይ ቆሞ መጥራት ጀመረ። «ሆሳዕና! ሆሳዕና! ሆሳዕና በወንበር!» ናፍጣው ለሆሳዕና አለ፣ ለእኛ ነው የሌለው። 11 ሰው ይዞ ወደ 120 ኪሎ ሜትር ከሚሄድ እኛን ሸጦ፣ ሞልቶ ወደመጣበት መመለሱ ነው የሚያዋጣው። ሌላ ምክንያት የለውም። ያዘኑለትን ሰዎች ዓይን እያየ ነው ያደረገው፣ እኔን ያቃጠለኝ እሱ ነው።

ሚኒባሷ ደግሞ እስክትሞላ አትነሳም። 11 ሰው ይዛ ሁለት ሰዓት ቆመች። ዳሞታ ተራራ ላይ ጀምበር ስታዘቀዝቅ እያየሁ «አሁን ብንነሳ እንኳ እደርስበታለሁ፣ አሁን ብንነሳ» እያልኩ ሰዓቴን ስቆጥር 12 ተኩል ሆነ። አውቶብሱ ከሄደ ቆይቷል። ልክ ከከተማ እንደወጣን የሚኒባሷ ረዳት እጁን ዘረጋ።

«ሂሳብ።»

«ተከፍሏል ተብለናል» አልነው።

«ለእኔ የተሰጠኝ ለሰው 100 ብር ነው። 300፣ 300 ጨምሩ።»

ሁሉም ሰው ተንጫጫ። እኔም ጮህኩ። እስከ አርባ ምንጭ የከፈልን መሆናችንን፣ ወንበራችንን፣ ዋጋውን ነገርኩት። ልጁ አልተቆጣም። ዞር ብሎ አየኝና «እሺ እህቴ፣ ትኬትሽ የታለ?» አለኝ። ያኔ ነው የገባኝ። አረካ ላይ የሰበሰቡት ለዚህ ነው። ከአዲስ አበባ መነሳታችንን የሚያሳይ አንድ ወረቀት በ11 ሰው እጅ የለም።

እናትየዋ የነጠላቸውን ጫፍ ፈቱ። ቋጠሮው ውስጥ አንድ 100 ብርና አራት 10 ብር ነበር። ቆጥረው መልሰው ቆጠሩት። «ይቺ እኮ ለባጃጅ ያስቀመጥኳት ናት» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን ለራሳቸው። የእሳቸውን እኔ ከፈልኩ። እምቢ ብለው ታገሉኝ፣ በመጨረሻ እጄን ይዘው እስክንደርስ አልለቀቁኝም። በኋላ ይህን ለአክስቴ ልጅ ስነግረው «300 ብር እኮ ላንቺ ሁለት ዩሮ ናት፣ ምን አንጨረጨረሽ» አለኝ። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ለእኛ ከውጭ ለምንመጣው ሁሉ ነገር ረክሷል፣ አውቃለሁ። ለዚያች ቋጠሮ ግን አልረከሰም። ውጭ የምንኖር ሰዎች «ተዪው፣ ትንሽ ብር ናት» ብለን ዝም ብለን በከፈልን ቁጥር ዋጋው ከጎናችን በተቀመጠው ሰው ላይ ነው የሚጸድቀው። እኔ ራሴ ጠዋት ለሻንጣው 300 ስከፍል ይህን አላሰብኩም ነበር።

ከዚያ በየመንገዱ እየጫነ 18 ደረስን። ኬላ ሲደርስ «ትርፎች ጎንበስ በሉ!» ይላል። አንዲት ልጅ ጉልበቴ ላይ ጎንበስ አለች፣ ፀጉሯ አፍንጫዬ ውስጥ። ምዕራብ አባያ ስንደርስ ድቅድቅ ጨለማ ነው። ሙዝ ሻጭ የለም። በግራ በኩል መስኮቱን በእጄ ጠርጌ አየሁ፣ የራሴን ፊት ነው ያየሁት። ሐይቁ እዚያው አጠገቤ ነበር፣ አላየሁትም። አርባ ምንጭ ገብተን ሲቀላ ሰፈር የወረድነው ሌሊት 3 ሰዓት ተኩል ላይ ነው፣ አክስቴ ከ11 ሰዓት ጀምሮ ቆማ ስትጠብቅ ነበር።

በማግስቱ ለማመልከት ሄድኩ። ታርጋውን ይዤ ነበር። ያነጋገረኝ ሰው ትሁት ነው፣ ወንበር ሰጠኝ፣ ሰማኝ፣ ከዚያ እሱም «ትኬቱ አለሽ?» አለኝ። እሱ ምን ያድርግ።

አሁን ደግሞ በጎውን ልንገራችሁ፣ ያንንም አለመናገር ግፍ ነው። ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ በሚኒባስ ወጣሁ፣ ዶርዜ ልወርድ። 200 ብር ስሰጠው ረዳቱ፣ 16 ዓመት ቢሆነው ነው፣ መልስ አልነበረውም። አዲስ አበባ ቢሆን አንድ 100 ብር ለሁለት ሰው ሰጥቶ «ተካፈሉ» ይላል፣ ወይም እስክትወርዱ ይረሳዋል። ይሄ ልጅ እስክሪብቶ አውጥቶ መዳፉ ላይ የመልሴን ልክ ጻፈ። ዳገቱን ስንወጣ ጉም ገባ፣ እኔ ወደ ውጭ ሳይ፣ ሰው ሲወጣ ሲወርድ፣ እኔም ረሳሁት። ወርጄ የቀርከሃዎቹን ቤቶች እያየሁ መሄድ ስጀምር ከኋላዬ «እትዬ! እትዬ!» እያለ ሮጠ። መልሴን በሁለት እጁ ሰጠኝ፣ መዳፉ ላይ ያለውን ቁጥር አሳየኝ፣ ልክ ነው። የእሱን ሚኒባስ በስም ባውቀው እዚህ እጽፈው ነበር። ሴቻና ሲቀላ መሀል የሚሠሩት ባጃጆችም አንድ ቀን እንኳ ከሰው የተለየ ዋጋ አልጠየቁኝም። አማርኛዬን ሲሰሙ «ከየት ነሽ?» ይሉኛል፣ «ከሴቻ» እላለሁ፣ ያልቃል።

ስለዚህ ሕዝቡ አይደለም፣ መንገዱም አይደለም። ትልቁ አውቶብስ ላይ ወረቀቱን ከእጃችሁ የሚያስወጣው አሠራር ነው። ትኬት ስትቆርጡ መድረሻው በግልጽ መጻፉን እዩ፣ እዚያው ቆማችሁ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ታርጋውንና የጎን ቁጥሩንም አብራችሁ አንሱ። የሻንጣ ዋጋ ከመጫኑ በፊት ተነጋገሩ፣ ከፊታችሁ ያለው ሰው ስንት እንደከፈለ ጠይቁት፣ ሰው ይነግራችኋል። ከሶዶ ወዲያ የምትሄዱ ከሆነ ደግሞ አውቶብሱ የሚሞላው እስከየት በሚሄድ ሰው እንደሆነ ጠይቁ። የአርባ ምንጭ ተሳፋሪ ጥቂት ከሆነ መሸጣችሁ አይቀርም።

ስመለስ በሌላ አውቶብስ ነው የመጣሁት፣ ተሳፋሪው ሁሉ አዲስ አበባ የሚገባ። 12 ሰዓት ተባለ፣ 12 ከሩብ ላይ ወጣን። በዚህኛው በቀኝ በኩል ነበር ያስያዝኩት። ሲነጋጋ አባያ ቀይ ሆኖ ወጣ፣ ከሩቅ አንድ ጀልባ ነበረበት። ከጎኔ ያለው ተማሪ መስኮቱን እንዲዘጋ ቢጠየቅም «ትንሽ ይጠብቁ፣ እያየች ነው» አለላቸው።

አረካን አልፈን ረዳቱ ተነሳ። «ትኬት አምጡ!» እኔ አወጣሁና ከፍ አድርጌ አሳየሁት፣ አልለቀቅኩትም። «ስወርድ እሰጥሃለሁ፣ ወንድሜ» አልኩት። ትንሽ ቆሞ አየኝ። ከዚያ «እሺ» ብሎ ወደ ቀጣዩ አለፈ። ተማሪው ሊሰጥ የዘረጋውን ትኬት ሰብሰብ አድርጎ ወደ ደረት ኪሱ መለሰው።