ሁሉ አማረሽ ገበያ ወጣች፦ አምስት የሴቶች ኦል-ማውንቴን ስኪዎች ጎን ለጎን

ከጥቂት ዓመታት በፊት ወገቡ፣ ማለትም መሃሉ፣ 106 ሚሊ ሜትር የሆነ ስኪ፣ የበረዶ መንሸራተቻ፣ ገዛሁ። ሰፊ፣ ግርማ ያለው፣ ለጥልቅ በረዶ የተሠራ። በጭንቅላቴ ውስጥ የነበረው ሥዕል ግልጽ ነው፦ ሌሊቱን ሲጥል ያደረ በረዶ፣ እስከ ጉልበት የሚውጥ፣ ማንም ያልረገጠው። በዚያ ወቅት እንዲህ ያለ ቀን ሦስቴ ብቻ መጣ። የቀረውን ጊዜ በማሽን በተደለደለ ደረቅ ቁልቁለት ላይ ሁለት ሳንቃ ስጎትት ከረምኩ። ማታ ማታ ጉልበቴን ማሸት ነበር ሥራዬ። ጥፋቱ የስኪው አይደለም። ለሦስት ቀን ብዬ ለሠላሳው የማይሆነውን የገዛሁት እኔው ነኝ።

ስለዚህ ከዚህ በታች ያለውን ሁሉ የምመዝነው በአንድ ጥያቄ ነው፦ ቀንሽን በእርግጥ የምታሳልፊው የት ነው? የምትመኚውን ቦታ አይደለም የምጠይቅሽ። ኦል-ማውንቴን የሚባለው ስኪ እንደ ስሙ ተራራውን ሁሉ ይሄዳል። የተደለደለውንም፣ ጉብታውንም፣ ከሰዓት በኋላ የሚቦካውንም፣ ዛፍ ውስጥ የተጠራቀመውንም። ሁሉንም እኩል ግን አይሄድም። አንዱን ሲያሳምር ሌላው ላይ ይለግማል። ሁሉ አማረሽን ገበያ አታውጧት የሚባለው ለዚህ ነው።

ያወዳደርኳቸው አምስቱ እነዚህ ናቸው፦ ብሊዛርድ ብላክ ፐርል 88፣ ቮልክል ሲክሬት 96፣ ኖርዲካ ሳንታ አና 98፣ ኤላን ሪፕስቲክ 94 ደብልዩ እና ሳሎሞን ኪውኤስቲ ሉመን 98።

መጀመሪያ ቁጥሩ፣ ከዚያ ብረቱ

ስሙ ላይ ያለው ቁጥር የወገቡ ስፋት ነው። ከጫማሽ ስር ያለው ጠባቡ ቦታ በሚሊ ሜትር ማለት ነው። ጠባብ ስኪ ከአንዱ ጠርዝ ወደ ሌላው ቶሎ ይገለበጣል፤ ደረቅ በረዶ፣ ማለትም የጠነከረውን፣ ይነክሳል። ሰፊው ደግሞ ልስልስ በረዶ ላይ ይንሳፈፋል። ከ80 በታች ያለው የተደለደለ መንገድ ዕቃ ነው። ከ100 በላይ ያለው የጥልቅ በረዶ። አንድ ስኪ ብቻ ለሚኖራት ሴት ቦታው ከ85 እስከ 98 ባለው ውስጥ ነው።

በ88 እና በ98 መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ለዓይን ምንም አይመስልም። ጉልበት ግን ያውቀዋል። ስኪው በሰፋ ቁጥር ደረቅ በረዶ ላይ በጠርዙ ለማቆም ቁርጭምጭሚትሽና ጉልበትሽ አብዝተው ይለፋሉ።

ሰው ሁሉ የሚከራከረው በወገብ ነው። እኔ ከወገቡ በፊት ብረቱን እጠይቃለሁ። ቲታናል የሚባል የአሉሚኒየም ቅይጥ አለ። ከአንድ ሚሊ ሜትር የሳሳ ንጣፍ ሆኖ ከውስጠኛው እንጨት ጋር ይጣበቃል። ስኪውን ያከብደዋል፣ ያጠነክረዋል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ መንቀጥቀጡን ይውጣል። ብረት የሌለው ስኪ ቀላልና ታዛዥ ነው፤ ነገር ግን በፍጥነት ስትወርጂ የስኪው አፍንጫ መርገብገብ ይጀምራል። ያን መርገብገብ አንዴ ካየሽው ዓይንሽን ከሱ መንቀል ይከብድሻል። እግርሽም ፍጥነት ይቀንሳል።

ታዲያ ብረት ያለው ይሻላል ማለት ነው? አይደለም። ብረት የሚታጠፈው ሲገፉት ነው። ክብደትሽ ቀላል ከሆነ ወይም ፍጥነትሽ ዝግ ካለ ስኪው ሳይታጠፍ ይቀራል። ያልታጠፈ ስኪ ደግሞ አይዞርም፣ ቀጥ ብሎ ይወስድሻል።

"የሴቶች" ሲባል ምን ማለት ነው?

አንዳንዱ እውነት ነው፣ አንዳንዱ ቀለም ነው። እውነተኛው ለውጥ ቀለል ያለ እንጨት፣ አነስ ያለ ብረት፣ ከአጭር የሚጀምር ቁመት፣ አንዳንዴም ትንሽ ወደ ፊት የመጣ የማሰሪያ ቦታ ነው። የመጨረሻው ታሪክ አለው። ጂኒ ቶረን የምትባል አሜሪካዊት የሴት አካል ሚዛን ከወንድ ስለሚለይ ማሰሪያው ወደ ፊት ይምጣ ብላ ለብዙ ዓመታት ተሟግታለች። ዛሬ ብዙ ኩባንያዎች ይህን ለየት ባለ መንገድ ተቀብለውታል።

ሁሉም ግን አልተቀየረም። ሳሎሞን ሉመን 98 ከወንዶቹ ኪውኤስቲ 98 ጋር በአሠራር እጅግ የተቀራረበ ነው። ብላክ ፐርል በአንጻሩ ከቀድሞው የወንዶቹ ብራህማ ያነሰ ብረት ነው ያለው። እኔ በሁለቱም ቅር አይለኝም። ጉልበተኛ ከሆንሽና ፈጥነሽ የምትወርጂ ከሆነ የወንዶቹን መደርደሪያም እይው። በረዶው ማን እንደረገጠው አይጠይቅም።

ሆድ ለሆድ አጋጥሚያቸው

ሱቅ ውስጥ የትኛውንም ማስታወቂያ ከማንበብሽ በፊት ይህን አድርጊ። የአንዱን ጥንድ ሁለት ስኪ ሆድ ለሆድ አጋጥመሽ ከጎን ተመልከቺ። መሃል ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ክፍተት ታያለሽ። ያ ካምበር ነው፤ ስትቆሚበት ተጨፍልቆ ጠርዙን በረዶው ላይ የሚጭነው እሱ ነው። ከዚያ ወደ ጫፉ ስትሄጂ ሁለቱ ይነካኩና እንደገና ይለያያሉ። መለያየት የሚጀምሩበት ቦታ ላይ ጣትሽን አድርጊ። ከዚያ ወዲያ ያለው ሮከር ነው። ደረቅ በረዶ ላይ በቀጥታ ስትሄጂ ያ ክፍል መሬት አይነካም።

ብላክ ፐርልን እንዲህ ስታይ ጣትሽ ጫፉ አጠገብ ይቆማል። ሉመን ላይ ወደ መሃል ጠጋ ይላል። አሁን መሃሉን በአንድ እጅሽ ጨብጠሽ ክፍተቱን ለመዝጋት ሞክሪ። ሪፕስቲክ እሺ ይላል። ሲክሬት ሁለተኛ እጅሽን ይጠይቃል። ይህ የአንድ ደቂቃ ሥራ ከግማሽ ሰዓት የሻጭ ንግግር በላይ ይነግርሻል።

አምስቱ

ብላክ ፐርል 88ን ያላየች ስኪ ወዳጅ የለችም ብል አላጋነንኩም። አሜሪካ ውስጥ ለዓመታት በብዛት ከተሸጡት አንዱ ነው። መሸጡ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ እዚህ ላይ ግን ገዢው አልተሳሳተም። ብሊዛርድ የተለያየ ጥንካሬ ያላቸውን የእንጨት ዓይነቶች ቀላቅሎ ለእያንዳንዱ ቁመት የሚስማማ ውስጥ ይሠራለታል። አጭሩን የምትገዛ ሴት የረጅሙን ቁራጭ አይደለም የምታገኘው። ለአጭር የተመጠነውን ነው። ውጤቱ እግር ላይ ይታወቃል። ጠዋት የተደለደለ መንገድ ላይ ጠርዙ ይይዛል፣ ከሰዓት ጉብታ ሲበዛ አይጨቀጭቅሽም። ድካሙ ጥልቅ በረዶ ነው። እስከ ቁርጭምጭሚት ድረስ ችግር የለበትም፤ ከዚያ ሲያልፍ ወደ ታች ይሰምጣል፣ አንቺም ወደ ኋላ መደገፍ ትጀምሪያለሽ።

ሲክሬት 96 ሌላ ፍጥረት ነው። ጀርመን ሠራሽ፣ የወንዶቹ ማንትራ እህት። ብረቱን እንደ ሙሉ ንጣፍ አልዘረጉበትም። እንደ ሥዕል ክፈፍ ከፊትና ከኋላ ጠርዙን ተከትሎ ነው የሚሄደው፤ ይህም ክብደት ይቀንሳል። ኩርባውም አንድ ወጥ አይደለም። መሃሉ ለአጭር ዙር፣ ጫፎቹ ለረጅም ዙር የተቀረጹ ናቸው። ስኪውን በትንሹ ስታጋድሚው ረጅም ዙር፣ አብዝተሽ ስታጋድሚው አጭር ዙር ይሰጥሻል። ከአምስቱ ደረቅ በረዶ ላይ በፍጥነት እጅግ የተረጋጋው ይህ ነው። የሞከርኩት ቀን ጠዋት በፍቅር ወደቅኩ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ እግሬ ዝሎ ትንሽ ወደ ኋላ ስቀመጥ ግን ስኪው መንገዱን ቀጠለ፣ እኔ ተሳፋሪ ሆንኩ። ላልደከመች ሴት ነው። ቀኑን ሙሉ ላልደከመች።

ሳንታ አና 98 የመሃል ሰው ነው። በአዲሱ ትውልድ ቁጥሩ 97 ሆኗል፤ ባሕርዩ ያው ነው። ኖርዲካ የብረቱን መጠን እንደ ወገቡ ይለዋውጠዋል፦ ለልስልስ በረዶ የታሰበው ሰፊው አነስ ያለ ብረት ይይዛል። ጎበዝ ሴት አይሰለቻትም፤ መካከለኛዋም አትፈራውም። ከላይ እስከ ታች በተቆራረጠ በረዶ ላይ ለመውረድ ከአምስቱ አንዱን ምረጪ ብባል ይህን አነሳለሁ። ሳልረሳው፦ ኖርዲካና ብሊዛርድ በአንድ ኩባንያ ጥላ ስር ናቸው፤ ስኪዎቻቸውም ከአንድ የኦስትሪያ ፋብሪካ ይወጣሉ። መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን የሚፎካከሩት ሁለቱ የአጎት ልጆች ናቸው።

ሪፕስቲክ 94 ደብልዩ ብረት የለውም። በምትኩ በእንጨቱ ውስጥ የካርቦን ዘንጎች ተቀብረዋል። ከአምስቱ ቀላሉ ነው፤ ትከሻሽ ላይ አድርገሽ ከመኪና ማቆሚያ ወደ ተራራው እስከሚያወጣሽ ማንሻ ስትሄጂ ገና ሳትወርጂ ታውቂዋለሽ። ሌላው ልዩ ነገሩ ግራና ቀኝ ያለው መሆኑ ነው። ኤላን የውስጠኛውን ጠርዝ ካምበር፣ የውጪውን ሮከር አድርጎታል። ውስጡ ይነክሳል፣ ውጪው ሳይደናቀፍ ይለቃል። ስለዚህ እንደ ጫማ ነው። አንዴ ቸኩዬ ግራውን ለቀኝ አድርጌ ግማሽ ቁልቁለት ከወረድኩ በኋላ ነበር "ዛሬ ምን ነካኝ?" ያልኩት። ጽሑፉ ስኪው ላይ አለ፤ አንብቢው። ቀላል ሰውነት ላላት፣ ዛፍ ውስጥ ለምትወድ፣ ቶሎ ቶሎ መዞር ለሚያስደስታት ሴት እንደሱ የሚመች አላየሁም። በረዶው ድንጋይ በሆነበት ቀን በፍጥነት ከወረድሽ ግን ከላይ ያልኩሽን የአፍንጫ መርገብገብ ታይዋለሽ።

ኤላን ይህን ዓይነት ድፍረት የጀመረው ዛሬ አይደለም። ዛሬ ሁላችንም ወገቡ ገባ ባለ ስኪ ላይ የምንዞረው የስሎቬንያው ፋብሪካ በ1993 ኤስሲኤክስ የሚባለውን ይዞ ስለወጣ ነው። ከዚያ በፊት ስኪ ቀጥ ያለ ጣውላ ነበር ማለት ይቻላል።

ሉመን 98 የፈረንሳይ ስኪ ነው። የካርቦንና የተልባ ተክል ክር አብሮ ተሸምኖበታል፤ ጫፉ ላይ ንዝረት እንዲውጥ ቡሽ ገብቶበታል። አዎ፣ የጠርሙስ ክዳን የሚሆነው ቡሽ። ከአምስቱ ልስልስ በረዶን በጣም የሚወደው ይህ ነው። ይንሳፈፋል፣ በቀላሉ ይንሸራተታል፣ ስህተት ይቅር ይላል። የሚቀጣሽ ጠዋት በረዶው እንደ መስታወት ሲሆን ነው። እኔ ያን ጊዜ የምፈልገውን ንክሻ አላገኘሁበትም።

ቁመት

ከአገጭ እስከ አናት ባለው መካከል ይሁን፤ የቀረው ማስተካከያ ነው። ሮከሩ ለበዛው ረዘም ያለውን ውሰጂ፤ መሬት የሚነካው ክፍል አጭር ነውና። ብረት ላለው ከተጠራጠርሽ አጠር ያለውን። ቁመቷ 165 ሴንቲ ሜትር የሆነች መካከለኛ ሴት ብላክ ፐርልን 160 አካባቢ፣ ሉመንን ከዚያ ረዘም አድርጋ ብትይዝ ይስማማታል።

ማሰሪያው

አምስቱም ብዙውን ጊዜ ጫማሽን ከስኪው ጋር የሚያያይዘው ማሰሪያ፣ ባይንዲንግ፣ ሳይኖራቸው ነው የሚሸጡት። ስትገዢ ሁለት ነገር አረጋግጪ። አንደኛ፣ የፍሬኑ (ስኪው ሲፈታ ተንሸራቶ እንዳይሄድ የሚይዘው ክፍል) ስፋት ከወገቡ የማያንስ፣ እጅግም የማይበልጥ ይሁን። ለ88 ከ90 እስከ 100፣ ለ98 ደግሞ 100 ወይም 110 ይበቃል። ሁለተኛ፣ የጫማሽ ሶል ግሪፕዎክ የሚባለው፣ ለመራመድ የሚመቸው ዓይነት፣ ከሆነ ባይንዲንጉ እንደሚቀበለው እይ።

ከዚያ ባለሙያው ባይንዲንጉ በምን ያህል ኃይል እንደሚፈታ የሚወስነውን፣ ዲን የሚባለውን መጠን ለመሙላት ክብደትሽን፣ ቁመትሽን፣ ዕድሜሽን፣ የሶልሽን ርዝመትና የአወራረድ ደረጃሽን ይጠይቅሻል። እባክሽ ኪሎሽን አትሸራርፊ። ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ከተሞላ ስኪው ያለ ምክንያት መሃል ቁልቁለት ላይ ይፈታል። ደረጃሽን ካጋነንሽ ደግሞ ስትወድቂ አይፈታም፤ ያ ይብሳል። ይህን የምለው በስኪ የጉልበት ጅማት መበጠስ ከወንዶች ይልቅ ሴቶች ላይ ስለሚበዛ ነው። የተለመደው ባይንዲንግ ደግሞ በዋናነት የቅልጥም አጥንትን ለማዳን የተሠራ ነው። ጅማቱን በእሱ ብቻ አትመኚ።

ከመክፈልሽ በፊት

ብዙ ሞዴሎች ለሁለትና ሦስት ዓመት ቀለማቸው ብቻ እየተቀየረ ይቆያሉ። ያለፈው ዓመት ውስጡ አንድ ከሆነ ያንኑ ውሰጂ። ሥዕሉን ማንም አያየውም፣ በረዶ ውስጥ ነው ያለው።

ለሙከራ ስትከራዪ ጠዋት አትሂጂ። ጠዋት መንገዱ እንደ ምንጣፍ ነው፣ ሁሉም ስኪ ያምራል። ከምሳ በኋላ ሂጂ፣ በረዶው ተቆራርጦ፣ እግርሽ ዝሎ። ሁለት ጥንድ ውሰጂ፣ በአንድ ቁልቁለት ላይ እያፈራረቅሽ ሞክሪያቸው። ቢያንስ አንዱ ብረት ያለው፣ አንዱ የሌለው ይሁን።

እኔ እንዲህ ያፈራረቅኳቸው ግን ሁለቱም ብረት ያላቸውን፣ ሳንታ አናን እና ብላክ ፐርልን ነበር። በልቤ ሳንታ አናን ነበር የምፈልገው። በመጨረሻው ዙር ግን ብላክ ፐርሉ ላይ ሆኜ አንድም ጊዜ ለማረፍ እንዳልቆምኩ ትዝ አለኝ። 106ቱ አሁንም ግድግዳ ተደግፎ አለ፤ ለሦስቱ ቀን።